ሲኒየሩን «ቆይ» ማለት እንዴት ይለመዳል? ሥልጠና ስጪ ተብያለሁ

ተረኛዋ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ክልል ሆስፒታል ውስጥ የሜዲካል ዋርድ ነርስ ነኝ፣ ስድስተኛ ዓመቴ። አዲሱ የጥራት ክፍል ኃላፊያችን «ስለ ቡድን ሥራና ተግባቦት ለሠራተኛው የ30 ደቂቃ ሥልጠና አዘጋጂ» ብሎኛል። ለምን እኔን? ጉዴን ሰምቶ ነው።

ባለፈው ክረምት ሌሊት ተረኛ ነበርኩ። የአንዲት እናት ስኳር ከፍ ብሎብኝ ኢንተርኑን፣ ተለማማጁን ሐኪም፣ ደወልኩለት። እሱ ድንገተኛ ክፍል ጫጫታ መሃል ቆሞ «ፊፍቲን ዩኒት ኢንሱሊን ስጫቸው» አለ። እኔ የሰማሁት ፊፍቲ ነው። መቼም ቁጥር በእንግሊዝኛ ካልተጠራ ሕክምና አይመስለንም። 50 ቀድቼ አልጋው ጋ ስደርስ፣ የምታስታምማቸው ልጃቸው ሲሪንጁን አየችና በጥፍሯ ወደ ታች ያለውን መስመር ነካ አድርጋ «ሲስተር፣ ማታ ማታ እኮ እስከዚችጋ ነበር» አለችኝ። እጄ ቀዘቀዘ። መልሼ ደወልኩ። «አሥራ አምስት ነው ያልኩሽ!»

ጠዋት ሞርኒንግ ላይ፣ በዋርዱ የጠዋት ስብሰባ፣ ራሴው ተናገርኩ። የተመለሰልኝ ቁጣና የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ነው። ከዚያ ወዲህ በዋርዳችን ስህተት ጠፋ። ማለቴ፣ የሚናገር ጠፋ።

አሁን ስላይድ አሳይቼ፣ ሻይ አጠጥቼ መበተን አልፈልግም። ሰው ደግሞ ሥልጠና ሲባል መጀመሪያ የሚጠይቀው አበሉን ነው። ምን ላስተምር? ነርስ ሲኒየር ሐኪምን «ቆይ» ስትል እንደ ድፍረት እንዳይቆጠርባትስ ምን ይደረጋል?

ማደንዘዣ ክፍል፦
እህቴ፣ ስላይዱን ተዪው። የዓለም ጤና ድርጅት በፈረንጆቹ 2008 ያወጣው የቀዶ ሕክምና ቼክሊስት እኛም ኦፕሬሽን ክፍል አለ፣ 19 ነጥብ ያለው። ታካሚው ጠረጴዛው ላይ ሳይወጣ ሁሉም ሳጥን ራይት ተደርጎበት ያልቅ ነበር። «ጎዝ ተቆጥሯል» የሚለው ሳይቀር፣ ጎዙ (ደም መጥረጊያ ጨርቁ) ገና ከፓኩ ሳይወጣ! ያው ቼክሊስት 8 ከተሞች ላይ ሲሞከር የታካሚዎች ሞት ከ1.5 ወደ 0.8 በመቶ ወርዷል። በእኛ አሞላል ግን አንድም ሰው አያድንም።

የለወጠን አንድ ሲኒየር ቀዶ ሐኪም ናቸው። ምላጭ ከመያዛቸው በፊት ስማቸውን ተናግረው «ልክ ያልሆነ ነገር አይቶ ዝም ያለኝን እቀየመዋለሁ» ይላሉ። አንድ ቀን የሄርኒያ ታካሚ ቀኝ በኩል እየተጸዳ ሳለ፣ ገና ሁለት ወር ያልሞላት ነርስ «ዶክተር፣ ካርዱ የሚለው ግራ ነው» አለች፤ ድምጿ ከመሣሪያው ጩኸት አይበልጥም። አቆሙ፣ ካርዱን አዩ፣ ሁላችንም ፊት አመሰገኗት። ከዚያ በኋላ አፋችን ተፈታ። ስለዚህ ሲኒየሮቹ የማይቀመጡበት ሥልጠና ከሆነ ይቅርብሽ።

ሬዚደንቱ፦
አንዲት ነርስ ለአንድ ሙሉ ዋርድ ቆማ፣ እኛ ያለ እንቅልፍ ሁለተኛ ቀን ይዘን፣ መፍትሔው «ተግባቦት» ሆነ? ይሁን። ግን ስለ ስልኩ አንድ ነገር ልበል። ሌሊት ትደውሉና «ዶክተር፣ ታካሚው ደህና አይደለም» ብላችሁ ትዘጋላችሁ። የትኛው ታካሚ? ትንፋሹ ስንት ነው? ልምጣ ወይስ ኦርደር ልስጥ?

ከሜሪላንድ፦
ሬዚደንቱ ለሚያማርረው ነገር መላ አለው፤ ኤስባር ይባላል። መነሻው የአሜሪካ ባሕር ኃይል ሰርጓጅ መርከብ ነው። አራት ነገር በተራ ትናገሪያለሽ፦ አሁን የሆነውን፣ ጀርባውን፣ የገመትሽውን፣ የምትፈልጊውን። «ዶክተር፣ አልጋ 7 ያሉት እናት ትንፋሻቸው በደቂቃ 34 ደርሷል። ትናንት በሳንባ ምች የገቡ ናቸው። እየደከሙ ነው ብዬ ሰግቻለሁ። አሁኑኑ መጥተህ እያቸው፤ እስከዚያ ኦክስጅን ልጀምር?» ግማሽ ደቂቃ አይሞላም።

«ቆይ» ማለቱን በተመለከተ፣ ታላቅን ማቋረጥ ነውር ነው ተብዬ ስላደግኩ እዚህም የመጀመሪያ ዓመቴን በዝምታ ነው ያሳለፍኩት። ያሠለጠኑን ቲምስቴፕስ በሚባለው፣ በፈረንጆቹ 2006 በወጣው የጤና ሠራተኞች የቡድን ሥራ ማሠልጠኛ ሥርዓት ነው። አሠልጣኟ የጀመረችልን ከአውሮፕላን ነበር። በፈረንጆቹ 1977 ቴኔሪፌ በምትባል የስፔን ደሴት ላይ ሁለት ቦይንግ 747 ተጋጭተው 583 ሰው ሞተ። የአንደኛው፣ የሆላንዱ ኬኤልኤም አውሮፕላን የበረራ መሐንዲስ ሌላው አውሮፕላን ከመንደርደሪያው መውጣቱን ጠይቆ ነበር፤ ካፒቴኑ «አዎ» ብሎ ቀጠለ፣ መሐንዲሱም አልደገመም።

ስለዚህ ሦስት ደረጃ አስጠኑን። «ሰግቻለሁ።» ካልተሰማሽ፣ «ይሄ አልተዋጠልኝም።» አሁንም ካልተሰማሽ፣ «ለታካሚው አደጋ ነው፣ እንቁም።» በልብ ማጥናት ዋጋ የለውም። ሁለት ሁለት ሆናችሁ፣ አንዱ ተቆጪ ሲኒየር ሆኖ፣ ጮክ ብላችሁ ተለማመዱት። እኔ መጀመሪያ ቀን ሦስተኛው ላይ ስደርስ ሳቅ አፈነኝ፣ በአራተኛው ሙከራ ነው የወጣልኝ።

ቁጥሩን ደግሞ ነጣጥላችሁ መልሱ፦ «አሥራ አምስት፣ አንድ-አምስት፣ ልክ ነኝ?» እኛ ጋ ኢንሱሊን ሁለተኛ ነርስ ሳታየው አይሰጥም። ያቺ ልጅ ሁለተኛ ነርስሽ ሆና ነው።

ተረኛዋ፦
አመሰግናለሁ፤ ሬዚደንቱንም ጭምር፣ እውነቱን ነው። ስላይድ የለም። እስከ 50 ውኃ የተሞላ ሲሪንጅና እስከ 15 የተሞላ ሌላ ይዤ እገባለሁ፣ ከእጅ ወደ እጅ ይዙር። ከዚያ የስልኩን ልምምድ እናደርጋለን። ዛሬ ሲኒየራችንን ደፍሬ አናገርኳቸው። ያቺን ማስጠንቀቂያ የፈረሙት እሳቸው ናቸው። ትንሽ ዝም ብለው «ኢንተርኑን እኔ እሆናለሁ፣ ጫጫታውን እናንተ አምጡ» አሉኝ።

አበል እንደሌለው ግን ገና ለማንም አልተናገርኩም።