የ12 ሰዎች የሕይወት ታሪክ ለግድግዳ፦ ቀኖቹ እርስ በርስ እየተጋጩብን ነው

ፖስታ_ቤት_ሰፈር (አዳማ)
ሰላም ለሁላችሁ። እዚህ አዳማ ላለ አንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ቤተ መጻሕፍት 12 የግድግዳ ሰሌዳ እያዘጋጀን ነው፤ ስድስቱ የፖለቲካ ሰዎች፣ ስድስቱ የኪነ ጥበብ ሰዎች። እያንዳንዱ ኤ2 ወረቀት ላይ አንድ ፎቶና ከ120 እስከ 150 ቃል። ጽሑፉ ተሰብስቧል፤ ያስቸገረን ቀኑ ነው። የመለስ ዜናዊ ዕረፍት አንዱ ጋ ነሐሴ 14፣ ሌላው ጋ ነሐሴ 20 ይላል። ኃይለማርያም ደሳለኝ ጠቅላይ ሚኒስትር የሆኑት በ2004 ነው በ2005? ጃንሆይ ያረፉበትን ዓመትም ሁለት ተማሪዎች ሁለት ዓይነት አድርገው አመጡት። ዓሊ ቢራንስ በየትኛው ስሙ እንጻፈው? ሐሙስ ማተሚያ ቤት መግባት አለብን።

ዘመነ_ዮሐንስ
ነሐሴ 14ም ነሐሴ 20ም ያው አንድ ቀን ነው። ኦገስት 20 ቀን 2012 በእኛ ነሐሴ 14 ቀን 2004 ነው። ጥፋቱ የሚጀምረው ከዜና ጽሕፈት ልማድ ነው፦ «ኦገስት»ን «ነሐሴ» ይሉትና ፊቱ ላይ «እ.ኤ.አ.» ይለጥፉበታል። ቀጥሎ የሚገለብጠው ሰው እ.ኤ.አ.ዋን ይጥላትና ዓመቱን ብቻ ወደ እኛ ይመልሰዋል። በዚህ መንገድ «ነሐሴ 20 ቀን 2004» የሚል ቀን ይወጣል፤ ስድስት ቀን ስቶ ማለት ነው። እናንተ የፈረንጁን ወር በፈረንጅ ስሙ ጻፉት፦ ጃንዋሪ፣ ኦገስት፣ ሴፕቴምበር። ያኔ ማንም አይሳሳትም።

ወር ሳትይዙ ዓመት አትቀንሱ። ቀኑ ከጃንዋሪ 1 እስከ ሴፕቴምበር 10 ከሆነ 8፣ ከሴፕቴምበር 11 እስከ ዲሴምበር መጨረሻ ከሆነ 7 ነው የሚቀነሰው። የኃይለማርያም ነገር የተምታታው በዚህ ነው። መለስ ያረፉትም ኃይለማርያም ቃለ መሐላ የፈጸሙትም በፈረንጅ 2012 ነው፤ በመሀል ግን እንቁጣጣሽ ገብቷል። ዕረፍቱ ነሐሴ 14 ቀን 2004፣ ቃለ መሐላው መስከረም 11 ቀን 2005።

የጃንሆይ ደግሞ የዚህ ግልባጭ ነው። ከሥልጣን የወረዱት መስከረም 2 ቀን 1967፣ ያረፉት ነሐሴ 21 ቀን 1967፤ በእኛ አንድ ዓመት ነው። በፈረንጅ ግን የመጀመሪያው ሴፕቴምበር 12 ቀን 1974፣ ሁለተኛው ኦገስት 27 ቀን 1975 ይሆናል። አንደኛው ተማሪ ለሁለቱም 7 ደምሮ «በ1974 አረፉ» ብሎ መጥቶ ይሆናል። የቀድሞው ጠቅላይ ሚኒስትር የአክሊሉ ሀብተወልድ መገደልም (ኅዳር 14 ቀን 1967) እዚያው ዓመት ውስጥ ስለሆነ፣ እሳቸው ከ12ቱ አንዱ ከሆኑ ያንንም እዩት፤ ኖቬምበር 23 ቀን 1974 ነው።

ቀኑን ለመመንዘር የወሩን መግቢያ ማወቅ ይበቃል። መስከረም 1 ሴፕቴምበር 11፣ ጥቅምት 1 ኦክቶበር 11፣ ኅዳር 1 ኖቬምበር 10፣ ታኅሣሥ 1 ዲሴምበር 10፣ ጥር 1 ጃንዋሪ 9፣ የካቲት 1 ፌብሩዋሪ 8፣ መጋቢት 1 ማርች 10፣ ሚያዝያና ግንቦት 1 ኤፕሪልና ሜይ 9፣ ሰኔና ሐምሌ 1 ጁንና ጁላይ 8፣ ነሐሴ 1 ኦገስት 7።

ብዙ ሰው የሚወድቀው እዚህ ላይ ነው፦ ዘመነ ሉቃስ ወጥቶ ዘመነ ዮሐንስ ሲገባ ጳጉሜን 6 ትሆናለች፤ እንቁጣጣሽም ሴፕቴምበር 12 ላይ ይውላል። ከዚያ እስከ ፌብሩዋሪ መጨረሻ ያለው ሁሉ በአንድ ቀን ይንሸራተታል። የዐቢይ አሕመድ የኖቤል ሽልማት ይፋ የሆነው ኦክቶበር 11 ቀን 2019 ነው። በሠንጠረዡ ብቻ ከሄዳችሁ ጥቅምት 1 ይመጣላችኋል፤ 2012 ዘመነ ዮሐንስ ስለነበረ ግን መስከረም 30 ነው። ሽልማቱን የተቀበሉበት ዲሴምበር 10ም ታኅሣሥ 1 ሳይሆን ኅዳር 30። ዓመቱ ለ4 ሳይተርፍ ከተካፈለ ዮሐንስ ነው፤ ባሕረ ሐሳብ መማር አያስፈልግም።

ነጋሪት
በሹመት ላይ ቀኑ ብቻ ሳይሆን የምን ቀን እንደሆነም ይጻፍ። ኃይለማርያም ከነሐሴ 2004 ጀምሮ ተጠባባቂ ነበሩ፤ «2004» ያለውም ሙሉ በሙሉ ከአየር አላመጣውም። «ተጠባባቂ» የምትለዋን ቃል ከጻፋችሁ ሁለቱም ቁጥር ቦታውን ያገኛል። ሲለቁም እንደዚያው፦ መልቀቂያ ማስገባታቸውን ያሳወቁት የካቲት 8 ቀን 2010፣ ዐቢይ ቃለ መሐላ የፈጸሙት መጋቢት 24 ቀን 2010። በመሀል ያለው ከአንድ ወር በላይ የኃይለማርያም ነው።

በዚሁ ሰው ላይ ሌላም ወጥመድ አለ። «የደቡብ ክልል ፕሬዚዳንት» የሚለው ሲያጥር «ፕሬዚዳንት» ብቻ ይቀርና የአገር ርእሰ ብሔር ያደርጋቸዋል። መቀመጫቸው ሀዋሳ እንደነበረ ብትጨምሩ ተማሪው አይስትም። ከዚያ በፊት የአርባ ምንጭ የውኃ ቴክኖሎጂ ተቋም ዲን መሆናቸውንና በፊንላንድ ታምፔሬ መማራቸውን አትዝለሉት፤ ከፖለቲካው በፊት የውኃ መሐንዲስ ነበሩ።

መለስን «ከ1983 ጀምሮ ጠቅላይ ሚኒስትር» የሚል ጽሑፍ ሞልቷል። ስሕተት ነው። እስከ ነሐሴ 1987 የሽግግር መንግሥቱ ፕሬዚዳንት ነበሩ፤ የሽግግሩ ጠቅላይ ሚኒስትር ታምራት ላይኔ ነበሩ። ከነሐሴ 1987 ወዲህ መለስ ጠቅላይ ሚኒስትር፣ ነጋሶ ጊዳዳ ፕሬዚዳንት ሆኑ።

ፖስታ_ቤት_ሰፈር (አዳማ)
እግዜር ይስጥልን። ጃንሆይ ላይ የተባለው በትክክል ነው የሆነው፣ 7 ተደምሮ! የአርቲስቶቹንስ?

ሸክላ_ወዳድ
ዓሊ ቢራ ብላችሁ በትልቁ ጻፉ፣ ከሥር «ዓሊ መሐመድ ሙሳ» በትንሹ። ቢራ የመድረክ ስሙ ነው፤ ከመጀመሪያ ዘፈኑ የወጣ ነው። በኦሮምኛ ክረምቱ አልፎ የሚመጣው ብሩህ ወቅት ማለት ነው። ይህን አንድ መስመር ካልጻፋችሁ አማርኛ ብቻ የሚያውቅ ተማሪ የሚጠጣውን ቢራ መስሎት መሳቁ አይቀርም። የተወለደው ድሬዳዋ፣ የጀመረው እዚያው በአፍረን ቀሎ የሙዚቃ ቡድን ነው። ያረፈው ደግሞ እናንተው ከተማ፣ አዳማ፣ ጥቅምት 27 ቀን 2015 እሑድ፤ የተቀበረው ድሬዳዋ። ያረፈበትን ቦታ የተወለደበት አድርገው የሚጽፉ አሉና ተጠንቀቁ።

ጥላሁን ገሠሠ መስከረም 17 ቀን 1933 አዲስ አበባ ተወልዶ ወሊሶ አደገ። «ተወልዶ ያደገው» የምትለዋ የተለመደች ሐረግ ሁለቱን ከተማ ትጨፈልቃለች፤ ለሁለት ክፈሏት። ቀኑን በበዓል መፈተሽ ይቻላል፦ ልደቱ የመስቀል ዕለት፣ ዕረፍቱ ሚያዝያ 11 ቀን 2001 የፋሲካ ዕለት። የመነዘራችሁት ቀን ከበዓሉ ካልገጠመ የሆነ ቦታ ስታችኋል።

በአልበም ዓመት ላይ ደግሞ ሲዲው ጀርባ ያለውን አትመኑ፤ ብዙውን ጊዜ ዳግም የታተመበት ዓመት ነው። የመሐሙድ አሕመድ የ1970ዎቹ ቅጂዎች በ1986 ቤልጂየም ታትመዋል (ሁለቱም በፈረንጅ)፤ 1986ን እንደ መጀመሪያ ከወሰዳችሁ ሰውየው ከአሥር ዓመት በላይ ዘግይቶ ይጀምራል። አምሃ ሪከርድስም የተጀመረው በ1969 በፈረንጅ ስለሆነ «በ1958 ዓ.ም. በአምሃ ሪከርድስ የወጣ ሸክላ» የሚል ካያችሁ ጣሉት።

የክብር ዶክትሬት (ጥላሁን ከአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ፣ ዓሊ ከጅማ) «የክብር ዶክተር» ተብሎ ይጻፍ። «ዶ/ር» ብቻ ከሆነ ተማሪው በምን ተመረቀ ብሎ ይጠይቃል። ደግሞ እባካችሁ፣ ፖለቲከኛውን አንቱ ብላችሁ ዘፋኙን አንተ አትበሉ። እኔም እዚህ «እሱ» አልኩ፤ ወሬ ስለሆነ ነው፣ ግድግዳ ላይ ግን ለ12ቱም አንድ ዓይነት ይሁን።

የቦታ ስም፦ በጊዜው የነበረው ይቅደም፣ የዛሬው በቅንፍ ይከተል። «ናዝሬት (አዳማ)»፣ «ደብረ ዘይት (ቢሾፍቱ)»፣ «ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቴአትር (ብሔራዊ ቴአትር)»። ሁሉንም በዛሬ ስም ካደረጋችሁት ተማሪው የድሮ ጋዜጣ ሲያገኝ ግራ ይገባዋል።

ባነር_ቤት
ሐሙስ ስትሄዱ የዎርድ ፋይል ይዛችሁ አትሂዱ። ማተሚያ ቤቱ ኮምፒዩተር ላይ የእናንተ የፊደል ዓይነት ከሌለ ባዶ አራት ማዕዘን ይሞላበታል፣ ወይም ሌላ ፊደል ተተክቶ መስመሩ ይፈርሳል። ፊደሉን አብሮ የያዘ ፒዲኤፍ አድርጉት። ለ20 ሳንቲ ሜትር ስፋት ፎቶ ቢያንስ 1,200 ፒክሰል ያስፈልጋል፤ 2,400 ቢሆን የተሻለ። ፎቶውን በቴሌግራም ስትላላኩ በፋይል መልክ ላኩት፣ አለዚያ ይጨመቃል። ጽሑፉ ከ28 ነጥብ ባያንስ ጥሩ ነው።

መጀመሪያ አሥራ ሁለቱንም በኤ4 አውጡና ቀኑን ያልጻፈ ተማሪ ቀን በቀን ይፈትሽ። የጻፈው ሰው የራሱን 1974 አያየውም።