«ጨርቅ እኮ ነፃ ነው» ላሉት የሬዲዮ እንግዳ፣ ሳፋው ይኸው

የሰባት ሳምንት እናት (አዳማ)፦
ዛሬ ልጄን የ6 ሳምንት ክትባት አስከትቤ (አዎ፣ በሳምንት ዘግይቼ፣ አትቆጡኝ) በባጃጅ ስመለስ ሬዲዮ ተከፍቷል። ወሬው ኑሮ ውድነት ነው። አንድ እንግዳ ስለ ዳይፐር ዋጋ ተጠየቁ። ምን ቢሉ ጥሩ ነው? «ዳይፐር ቅንጦት ነው። አቅም የሌለው ወላጅ ምን ያስጨንቀዋል? እናቶቻችን በአሮጌ ነጠላ ነው ያሳደጉን። ጨርቅ እኮ ነፃ ነው።» አቅራቢዋም «እውነት ነው» ብላ ዘፈን ከፈተች።

እኔ በጨርቅ ነው የማሳድገው። ሒሳቡ አልገጥም ብሎኝ እንጂ አምሮኝ አይደለም። ስለዚህ ጨርቅን አልተቃወምኩም። ያናደደችኝ «ነፃ» የምትለዋ ቃል ናት። እኛ ሰፈር ውሃ በፈረቃ ነው፣ ከቀናን በ3 ቀን አንዴ። ሰውዬው ይምጡና ሳፋው ይኸው፣ ሳሙናው ይኸው።

ጋሽ ጡረታ፦
ልጄ፣ እንኳን ማርያም ማረችሽ። እንግዳው ግን ምን አጠፉ? እኔ 5 ልጅ አሳድጌአለሁ፣ አንድ ዳይፐር አልገዛሁም። አቡጀዲ ተገዛ፣ ተቆራረጠ፣ ባለቤቴ ጠርዙን ቀመቀመችው፣ አለቀ። ከበኩሩ እስከ መጨረሻዋ ያው ጨርቅ ነው ያገለገለው። የዛሬ ልጆች ሁሉን ገዝታችሁ ትጥሉና ኑሮ ከበደን ትላላችሁ።

የመንታ እናት፦
ጋሼ ይቅርታ ያድርጉልኝና ከነዚያ ጨርቆች ስንቱን አጠቡ? በእጅዎ ማለቴ ነው።

ጋሽ ጡረታ፦
እኔ ደሞዝ አመጣ ነበር።

የመንታ እናት፦
ተመለሰልኝ። «ነፃ ነው» ማለት «እኔ አላጠብኩም» ማለት ነው።

ጋሽ ጡረታ፦
ነገር አታጣሚ። በእኛ ቤት ሥራ የተከፋፈለ ነበር።

በኩር፦
እስቲ ማን እንዳጠበ እኔ ልንገራችሁ፣ «እናቶቻችን» እያላችሁ አታድክሙን። እኔ ነኝ ያጠብኩት። የቤቱ የመጀመሪያ ሴት ልጅ። ታናሽ ወንድሜ ሲወለድ 9 ዓመቴ ነበር። ጠዋት ከትምህርት ቤት በፊት የሌሊቱን፣ ከሰዓት ስመለስ የቀኑን። ካካውን በእንጨት ጠርጌ፣ በቀዝቃዛ ውሃ ዘፍዝፌ፣ አሽቼ፣ ሁለቴ አለቅልቄ። ክረምት ላይ ጣቶቼ ይሰነጣጠቃሉ። ክፍል ውስጥ እጄ ይሸታል ብዬ ወረቀት ለመቀበል እንኳን አልዘረጋም ነበር። እስከ ዛሬ የእርጥብ አቡጀዲ ሽታ ሆዴን ያገላብጠዋል። ያቺ ልጅ በሬዲዮ ቋንቋ «ነፃ» ትባላለች።

የቦኩ ልጅ፦
በኩር 😢 እኛ ቤት ደግሞ ከገጠር የመጣች የአክስቴ ልጅ ነበረች። ትምህርት እናስገባታለን ተብላ መጥታ ሳፋ ስር ቀረች።

ሒሳብ አዋቂ፦
ስሜቱን ትተን በቁጥር እንነጋገር። ዋጋ አልጽፍም፣ ጽፌ ሳልጨርስ ይጨምራል። አራስ በቀን ከ8 እስከ 12 ጊዜ ይቀየራል። 10 እንያዝ። በወር 300 ፍሬ ዳይፐር ነው። በ300 አባዙና የሰፈራችሁን ባለ ሱቅ ዋጋ ተመልከቱ። የብዙ ሰው ደሞዝ እዚያው ያልቃል።

በጨርቅ ደግሞ፦ በየ2 ቀኑ የምታጠብ 20 ያስፈልጋታል፣ ገመድ ላይ ላለው 4 ጨምሩ፣ 24። ውሃ በ3 ቀን ከሆነ 34 ነው። አንዴ ይገዛል፣ ለሁለተኛው ልጅም ይሆናል። ጨርቅ ያዋጣል። ክርክር የለውም።

የሰባት ሳምንት እናት፦
ያዋጣል፣ አልካድኩም። ግን ውሃውን ዘለልከው። የኔ 10 ጨርቅ 2 ጀሪካን ይጠጣል፣ ያውም ቆጥቤ። መዘፍዘፊያ፣ ማጠቢያ፣ ሁለቴ ማለቅለቂያ። የመጨረሻውን ማለቅለቂያ አልደፋውም፣ ለሚቀጥለው መዘፍዘፊያ ነው። ፈረቃው ሲዘገይ ጀሪካኑ በጋሪ ይመጣል፣ ባለ ጋሪው ደግሞ የዘመዴ ልጅ አይደለም። አከራዬ «አንቺ ከወለድሽ ቆጣሪው ሰክሯል» ብላኛለች። ከዚህ በላይ ሳሙናው አለ። አዋሽ አጠገባችን እያለፈ እኛ በባልዲ እንቆጥራለን።

ሒሳብ አዋቂ፦
እሺ፣ ውሃና ሳሙና ጨምሪበት። አሁንም ያዋጣል።

የሰባት ሳምንት እናት፦
ያዋጣል እና ነፃ ነው አንድ ናቸው? ጥያቄዬ እኮ እሱ ብቻ ነው።

የሐይቅ ዳር፦
እናንተ አዳማዎች ሁልጊዜ ውሃ ውሃ። ወደ ሐዋሳ ኑ፣ ሐይቅ ሙሉ ውሃ አለን 😎

የቦኩ ልጅ፦
ሽንት ጨርቅ ሐይቁ ውስጥ ልታጥቡ? ከዛሬ ጀምሮ አሞራ ገደል ሄጄ ዓሣ አልበላም።

የሐይቅ ዳር፦
ቀልድ ነው ወንድሜ። ደግሞ እናንተ ጋ አቧራው ከገመድ ላይ ጨርቅ አያነሳም? ታጥቦ አፈር።

የቦኩ ልጅ፦
የአዳማን ነፋስ አትንካ! መንግሥት ተርባይን ተክሎ መብራት የሚያመርትበት ነፋስ ነው። ሁለተኛው ጣቢያ ብቻ 102 ተርባይን አለው። ሽንት ጨርቅ ማድረቅ ለሱ ምኑ ነው? የናንተ ጋ በክረምት 3 ቀን ተሰጥቶ ይሻግታል።

የሰባት ሳምንት እናት፦
ነፋሱስ እውነት ነው። ትናንት አንዱ ከነመቆንጠጫው በሮ ጎረቤት ግቢ ገባ። በር አንኳኩቼ «ይቅርታ እትዬ፣ የልጄ ሽንት ጨርቅ በርበሬዎ ላይ አርፏል» አልኩ። የተሰጣ በርበሬ! ሴትየዋ በጎ ሰው ሆነው «የሕፃን ነው፣ በረከት ነው» አሉኝ። ያ በርበሬ ግን ተፈጭቶ ወጥ ውስጥ እንደሚገባ ሳስብ እንቅልፍ አጣሁ።

ሲስተር፦
😂😂 በርበሬው ተርፏል፣ ፀሐይ አለ። የምሠራው ወሊድ ክፍል ነው፣ ከሥራዬ ጥቂት ልበል። ጨርቅም ዳይፐርም ልጅ አይጎዳም። የሚጎዳው ቶሎ አለመቀየር ነው። ዳይፐር ውስጡ ሽንቱን ወደ ጄል የሚቀይር ነገር ስላለው ከላይ ደረቅ ይመስላል፣ እናት ትዘናጋለች። ጨርቅ ወዲያው ይረጥባል፣ ያሳብቃል። ይሄ ለአራስ እንዲያውም ጥሩ ነው፣ ከ5ኛው ቀን በኋላ በ24 ሰዓት ቢያንስ 6 ጊዜ ካረጠበ ጡቱ እየበቃው ነው። በጨርቅ መቁጠር ይቀላል።

ደግሞ በረኪና የምታበዙ እባካችሁ። ጨርቁ በደንብ ካልተለቀለቀ የልጁን መቀመጫ ይልጠዋል። የልብስ ማለስለሻም ተዉ፣ ጨርቁ ውሃ መምጠጥ ያቆማል። አዲስ አቡጀዲ ሦስት አራቴ ሳይታጠብ ብዙ አይመጥም። እትብቱ እስኪወድቅ ጨርቁን ከእትብቱ በታች አጥፉት። ቅቤ እትብት ላይ አይደረግም፣ ስንቴ ልንገራችሁ።

ጋሽ ጡረታ፦
እኛ ሁላችን ቅቤ ተደርጎልን ነው ያደግነው።

ሲስተር፦
ጋሼ፣ ያደግነው ነን የምናወራው። ያላደጉት እዚህ ገብተው አይጽፉም።

የመንታ እናት፦
ሲስተር 🔥

ባለ ሱቁ፦
እኔ የማየውን ልናገር? ዳይፐር በፍሬ ነው የምሸጠው። እሽጉን የሚገዛኝ በጣት የሚቆጠር ነው። ሌላው ማታ መጥቶ 2 ፍሬ ይላል። አንዷ ለሌሊት፣ አንዷ ለነገ ጤና ጣቢያ ወይም ለቤተክርስቲያን። ቀኑን በጨርቅ። ሰው ራሱ መላ መትቷል፣ እናንተ እዚህ ትጨቃጨቃላችሁ።

ሒሳብ አዋቂ፦
በፍሬ ስትሸጥ ግን ከእሽጉ ዋጋ በላይ ነው የምታስከፍለው። ድሃው ነው ውዱን የሚገዛው።

ባለ ሱቁ፦
እሽጉን ከፍቼ በፍሬ ስሸጥ ያልተሸጠው ይቆሽሽብኛል። ደግሞ ዱቤ የሚወስደውን አንተ ትከፍልልኛለህ?

ሒሳብ አዋቂ፦
ነጋዴ መቼ ያጣል መልስ።

ባለ ሱቁ፦
ሒሳብ አዋቂ መቼ ያጣል ዱቤ። ስምህን ልጥራ?

አረንጓዴ፦
ማንም ያላነሳው ነገር፣ ፌስታል በአዋጅ ተከለከለ፣ ዳይፐር ግን ቦዩን ሞልቶታል። ዝናብ ሲመጣ ተንሳፎ አስፋልት ላይ ይወጣል። ያ ጄል ፕላስቲክ ነው፣ ልጁ አግብቶ ወልዶ እንኳን አይበሰብስም። እኔ የሬዲዮውን እንግዳ እደግፋለሁ፣ ምክንያታቸው ቢሳሳትም።

አዲስ አባት፦
አረንጓዴ፣ ነገሩ እንዳልከው ቀላል አይደለም። የእንግሊዝ የአካባቢ ጥበቃ ኤጀንሲ እ.ኤ.አ. በ2008 አስልቶት ነበር። አንድ ልጅ ሁለት ዓመት ተኩል ዳይፐር ሲጠቀም ወደ 550 ኪሎ ካርቦን፣ በጨርቅ ደግሞ ወደ 570። ማጠቢያና ማድረቂያ ማሽኑ ኤሌክትሪክ ስለሚበላ ነው። ገመድ ላይ ያሰጣ፣ ማሽኑን ሞልቶ ያጠበ፣ ለሁለተኛ ልጅ ያስተላለፈ ግን በ40 በመቶ ይቀንሳል።

አረንጓዴ፦
እኛ ጋ ማን ነው ማድረቂያ ማሽን ያለው? ፀሐይ ናት ማሽናችን። ለኔ ነው የመሰከርክልኝ፣ አመሰግናለሁ።

የመንታ እናት፦
ማሽናችን ፀሐይ ብቻ አይደለችም። ማጠቢያ ማሽናችን በኩር ናት። 9 ዓመቷ። ካርቦን አታወጣም።

አረንጓዴ፦
እኔ እንደዛ አላልኩም።

የመንታ እናት፦
እንደዛ ያለ የለም። ሁሉም ዘሎት ነው የሚያልፈው።

አዲስ አባት፦
እኔ በበኩሌ አጥባለሁ። ሚስቴ በኦፕሬሽን ነው የወለደችው፣ ጎንበስ ማለት አትችልም። ከሥራ ስገባ ሱሪዬን ሰብስቤ ሳፋ ፊት ነኝ። የመጀመሪያዎቹ ቀናት ካካ ጥቁር ሬንጅ ነው፣ እሱን አልታገልኩም፣ አሮጌ ቲሸርት ቀድጄ አድርጌለት ጣልኩት። ከዛ በኋላ ያለው ቢጫው በቀዝቃዛ ውሃ ይለቃል። ሙቅ ውሃ አታድርጉበት፣ ያትመዋል። የቀረችውን ቢጫ ፀሐይ ትጨርሳታለች።

የሐይቅ ዳር፦
ወንድሜ ክብር ይገባሃል 👏👏👏

የቦኩ ልጅ፦
እንዲህ ያለ ባል ነው የሚያስፈልገን 👏 ጀግና!

ጋሽ ጡረታ፦
ጎበዝ። ዘመኑ ተቀይሯል።

የመንታ እናት፦
እዩት እንግዲህ! በኩር 9 ዓመቷ ላይ ጣቷ እየተሰነጠቀ አጠበች፣ አንድ የሚያለቅስ ፊት ደረሳት። ወንድ አንድ ሳፋ አጠበና ሐውልት ሊቆምለት ነው። አዲስ አባት፣ ላንተ አይደለም፣ አንተ እጠብ፣ ጥሩ ነው። ለአጨብጫቢዎቹ ነው።

አዲስ አባት፦
አልተቀየምኩም። እኔም ጭብጨባ አልጠየቅኩም። ግን ሁለት ነገር። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጁ 1156/2011 ለአባት የሚሰጠው 3 ተከታታይ ቀን ነው። በ3 ቀን ሬንጁ እንኳን አያልቅም። አጥባ ኖራለች፣ አጥቤአለሁ የምንባባለው ሁላችን ጊዜ ስለሌለን ነው።

ወንደላጤ፦
ሁለት ነገር ብለሃል፣ ሁለተኛው የት አለ?

አዲስ አባት፦
ልጁ ተነሳ፣ ረሳሁት።

ወንደላጤ፦
ይሄን ሁሉ ሳነብ ለማግባት የነበረኝ ሐሳብ ታጥቦ ተሰጣ 😅 ግን አንድ ጥያቄ። ፓምፐርስ እና ዳይፐር ልዩነታቸው ምንድን ነው?

ባለ ሱቁ፦
ፓምፐርስ የአንዱ ስም ነው፣ እ.ኤ.አ. በ1961 አሜሪካ የወጣ። ሰው ግን ማንኛውንም «ፓምፐርስ ስጠኝ» ይላል። እኔም የሌላውን እሰጠዋለሁ፣ አይመልሰውም።

ሒሳብ አዋቂ፦
በዋናው ዋጋ ነዋ የምትሰጠው።

ባለ ሱቁ፦
አንተን ዛሬ ማታ ሱቅ እጠብቅሃለሁ። ከነደብተሩ።

ጋሽ ጡረታ፦
ስለ «ነፃ» ልመለስ። እዚህ የጻፋችሁትን ለባለቤቴ አነበብኩላት። «ስንቱን አጠብክ ብለው ከጠየቁህ ምን አልክ?» አለችኝ። «ደሞዝ አመጣ ነበር» አልኩ አልኳት። ዝም ብላ ቡናዋን ቀጠለች። ግን እናንተም አታጋንኑ፣ ሰውየው ድሃ እንዳይጨነቅ ብለው ነው የተናገሩት። ደግ አሳብ ነው።

በኩር፦
እትዬ ዝም አሉ?

ጋሽ ጡረታ፦
ዝም አለች።

የመንታ እናት፦
ጋሼ፣ ዛሬ ቡናው ሁለተኛ አይደርስዎትም።

ሲስተር፦
የሰባት ሳምንት እናት፣ 34ቱን በአንዴ አትግዢ። 15 አቡጀዲ፣ የቀረውን ከአሮጌ ጥጥ ፎጣ አስቆርጪ። ነጠላም ይሆናል፣ ጥጥ ከሆነ። ብልጭልጩን ተይው፣ አይመጥም። ሌሊት መሃል ላይ አንድ የታጠፈ ፎጣ ደርቢበት። እግሩን ግን ቀጥ አድርገሽ አትሰሪው፣ እንደ እንቁራሪት ዘና ይበል፣ ለዳሌው ነው።

የሰባት ሳምንት እናት፦
እሺ ሲስተር፣ አመሰግናለሁ። መርፌ ቁልፍስ? እናቴ እሱን ነው የላከችልኝ፣ እኔ ፈራሁት።

ሲስተር፦
እጅሽን በጨርቁና በልጁ መሃል አስገቢ። ይወጋ ከሆነ አንቺን ይውጋ።

ሒሳብ አዋቂ፦
ማንም አልመለሰልኝም። 24 ጨርቅ፣ ሲደመር ውሃ፣ ሲደመር ሳሙና፣ ከ300 ዳይፐር ያንሳል ወይስ አያንስም? ያንሳል ካላችሁ እንግዳው ትክክል ናቸው።

የሰባት ሳምንት እናት፦
«ነፃ» ነው ያሉት፣ «ያንሳል» አላሉም!! ስንቴ ልጻፈው! ቆይ፣ ቧንቧው እያፏጨ ነው…

ውሃ መጣ። ከሌሊቱ 5 ሰዓት። ሄድኩ፣ ባልዲዎቹን ልደርድር።

ሒሳብ አዋቂ፦
ስትመለሺ የጀሪካኑን ሊትር ጻፊልኝ፣ በትክክል ላስላው።

የመንታ እናት፦
አንተ ሂድና ባልዲ ያዝላት።