አምበሉ ጨርቁን ጭቃ ላይ ጣለ፤ ውሉ ይታደስ ወይስ ይቅር?

ጅረን በር (አወያይ)፦
ሰላም ለሁላችሁ። ከትናንት ማታ ጀምሮ ስድብ ሳጠፋ ነው ያመሸሁት። ስለሰለቸኝ ጥያቄውን አንድ ቦታ ላድርገው። ላልነበራችሁ፦ እሁድ እዚሁ ጅማ በገዛ ሜዳችን 2ለ1 ተሸነፍን። 1ለ1 እያለን በ71ኛው ደቂቃ አሰልጣኙ አምበላችንን፣ 10 ቁጥሩን፣ ቀየረው። ልጁ የአምበልነቱን ጨርቅ ከክንዱ መንጭቆ ጭቃ ላይ ጣለ። የገባውን ልጅ አልጨበጠም፣ አሰልጣኙን ዞሮ አላየም። በእኛ በኩል ሲያልፍም ጣቱን ከንፈሩ ላይ አድርጎ «ዝም በሉ» አለን። ውሉ ሰኔ 30 ያልቃል፤ ክለቡ ለሁለት ዓመት ሊያድስለት እየተነጋገረ ነበር። ይታደስ? ይቅር? እናት የሚነካ ስድብ የጻፈ ይወጣል፣ ማንም ይሁን ማን።

የሄርማታው፦
ይሰናበት። ጨረስኩ።

ባጃጅ ነጂው፦
አልጨረስክም ወንድሜ። ከኋላህ ነበርኩ እኮ። ገና ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ «አንተ ሽማግሌ ውጣ» እያልክ ስትጮህ ጉሮሮህ ነበር ያሳዘነኝ። ሲወጣ ደግሞ ለምን ወጣህ አልከው።

የሄርማታው፦
ለምን ወጣህ አላልኩም፤ ለምን እንዲህ ወጣህ ነው ያልኩት። 30 ብር ከፍዬ፣ በዚያ ዝናብ ላስቲክ ራሴ ላይ ደፍቼ ቆሜ ዝም በል ልባል? ደጋፊ ይጮሃል። እሱ ደግሞ ይጫወታል። ሁላችንም ሥራችንን እንሥራ።

ቆጪ ሰፈር፦
ስለ ሥራ ካነሳህ፣ 71 ደቂቃ ሙሉ ሲራመድ ነበር። ኳስ ሲነጠቅ እጁን ዘርግቶ ዳኛውን ያያል፣ ከዚያ ወገቡን ይይዛል። እኔ የተናደድኩት በጨርቁ አይደለም፤ ጨርቁ የመጣው ከዚያ ሁሉ በኋላ ነው።

ጋሼ ፊሽካ፦
ልጆች፣ 19 ዓመት ፊሽካ የነፋሁ ሰው ነኝና ስለ ሕጉ አንድ ነገር ልበል። የገባውን ልጅ አልጨበጠም የምትሉት ትክክል አይደለም። በ2011 የጨዋታ ሕጉ ተሻሽሏል። ተቀይሮ የሚወጣ ተጫዋች እንደ ድሮው ሜዳውን አቋርጦ ወደ መሃል መስመር አይመጣም፤ ለቆመበት ቅርብ በሆነው መስመር ይወጣል። ሰዓት ማባከን ለመቀነስ የመጣ ነው። ልጁ የቆመው በእናንተ በኩል ባለው ማዕዘን አጠገብ ነበር። ስለዚህ በዚያው ወጥቶ፣ በደጋፊው ፊት ለፊት ግማሽ ሜዳ ዞሮ መሄድ ነበረበት። የገባው ልጅ በወዲያኛው በኩል ነው፤ በምን እጁ ይጨብጠዋል? ከወጣ በኋላ ደግሞ ወይ ወደ ተጠባባቂ ወንበር ወይ በቀጥታ ወደ መልበሻ ክፍል ነው። ሁለተኛውን መረጠ፤ ጥፋት አይደለም።

ጨርቅ መጣልም በራሱ ካርድ የሚያሰጥ ነገር አይደለም። ጣቱ ግን ደጋፊ መተንኮስ ነው። እኔ ብሆን ቢጫ እሰጠው ነበር። ቀዩ ለስድብና ለነውር ምልክት ነው፤ እሱ ደግሞ አልተሳደበም። የተሳደበው ማን እንደሆነ እናንተ ታውቃላችሁ።

የሄርማታው፦
ጋሼ አክብሮቴ እንዳለ ነው፤ እርስዎ ስለ ካርድ ነው የሚያወሩት፣ እኔ ስለ ነውር። ነውር ሁሉ ካርድ የለውም።

ጋሼ ፊሽካ፦
እሱስ ልክ ነህ።

አዲስ አበባ ያለሁት፦
እኔ ጨዋታውን አላየሁም፤ ቪዲዮውን ግን ሰው ልኮልኛል። የሠለጠነ ክለብ ይህን አይታገስም። ሮናልዶ በ2015 ጥቅምት ላይ ማንቸስተር ዩናይትድ ከቶተንሃም ሲጫወት ተቀይሮ አልገባም ብሎ ጨዋታው ሳያልቅ ወደ ውስጥ ገባ። ሕዳር ላይ ውሉ ተቀደደ። ሮናልዶ ነው እንግዲህ!

የሕግ ተማሪዋ፦
መሃሉን ዘለልከው። ወደ ውስጥ ስለገባ ከቼልሲው ጨዋታ አስቀሩት፣ ቀጥሎ መለሱት፣ በተመለሰበት ጨዋታም ጎል አገባ። ውሉ የፈረሰው በቴሌቪዥን ቀርቦ ክለቡንና አሰልጣኙን ከተናገረ በኋላ ነው፤ እሱም በስምምነት። ስለዚህ ምሳሌህ ለእኔ ነው የሚመሰክረው፦ ለሜዳው ጥፋት የአንድ ጨዋታ ቅጣት።

ባጃጅ ነጂው፦
ደግሞ ሮናልዶ ባጃጅ ተሳፍሮ ልምምድ አይሄድም። የኛው ካለፈው ወር ጀምሮ ከፈረንጅ አራዳ እስከ ሜዳ ስወስደው «ደመወዝ ሲገባ» እያለኝ ይወርዳል። ደብተሬ ላይ 140 ብር አለበት። አፍሬ አልጠየቅኩትም፤ እሱም አፍሮ ሰሞኑን በእግሩ ነው የሚሄደው። በእግሩ የመጣን ሰው ነው እንግዲህ ለምን አልሮጥክም የምንለው።

ቆጪ ሰፈር፦
ይሄን አላወቅኩም።

የሕግ ተማሪዋ፦
እኔም ወደዚያው ልመጣ ነበር። ስለ ውል ስናወራ የውሉን አንዱን ወገን ብቻ ነው የምናየው። ክለቡ የየካቲት፣ የመጋቢትና የሚያዝያ ደመወዝ አልከፈለም። ይህን የሰማሁት ከልጁ አይደለም፤ ከቢሮ ሰው ነው፣ እዚህ ግሩፕ ውስጥም አለ፣ ከፈለገ ይናገር። የፊፋ የተጫዋቾች ደረጃና ዝውውር ደንብ 14 ቢስ የሚባል አንቀጽ አለው። ያለአግባብ የሁለት ወር ደመወዝ የቀረበት ተጫዋች ለክለቡ በጽሑፍ ያሳውቃል፣ 15 ቀን ይሰጣል፤ ካልከፈሉት በበቂ ምክንያት ውሉን ማፍረስ ይችላል። ይሄ ልጅ በዚያ መንገድ መሄድ ሲችል አልሄደም። ሦስተኛውን ወር ያለ ደመወዝ እየተጫወተ ነው። ውል አፍራሽ ከተባለ መጀመሪያ ያፈረሰው ማነው?

ሌላም አለ። «ይሰናበት» እና «አይታደስለት» አንድ አይደሉም። ውሉ ሊያልቅ ሳምንታት የቀሩትን ሰው በውድድር መሃል ብታባርረው ለክስ በር ትከፍታለህ፤ ያልከፈልከው ላይ ካሳ ትጨምራለህ። ሰኔ 30 አልፎ ባታድስለት ግን ማንም አይጠይቅህም፤ ውሉ ራሱ ነው ያለቀው። ሊያልቅ ስድስት ወር ሲቀረው ጀምሮ ደግሞ ከሌላ ክለብ ጋር መፈረም መብቱ ነው። እኛ እናድስለት አናድስለት እያልን ስንጨቃጨቅ እሱ እኛን ይፈልግ እንደሆነ የጠየቀ የለም።

የሄርማታው፦
እህቴ ጥሩ ተናግረሻል፤ አንድ ነገር ግን መልሺልኝ። ያልተከፈለው እሱ ብቻ ነው? በረኛው ባለትዳር ነው፣ ሁለት ልጅ አለው። ግራ ተመላላሹ ከቦንጋ መጥቶ ቤት ተከራይቶ ነው የሚኖረው። እነሱም ሦስት ወር አልተከፈላቸውም፤ ጨርቅ አልጣሉም። አምበል ማለት እኮ ሁሉም ሲከፋው የመጨረሻ የሚከፋው ሰው ነው።

የሕግ ተማሪዋ፦
ለዚህ መልስ የለኝም። እውነትህን ነው።

ጅረን በር (አወያይ)፦
ግሩፑን ከከፈትን «እውነትህን ነው» የሚል ቃል ሲጻፍ ይህ ሁለተኛው ይመስለኛል። ቀጥሉ።

አዲስ አበባ ያለሁት፦
ገንዘብ የለንም ካላችሁ ጣሪያ አብጁለት። ፌዴሬሽኑ በ2011 የተጫዋች ወርሃዊ ደመወዝ ከ50 ሺህ ብር እንዳይበልጥ ወስኖ አልነበረም?

ባጃጅ ነጂው፦
ጣሪያ? መሬቱን ያላየ ሰው ምን ጣሪያ ያደርጋል። የኛ ልጅ 50 ሺህ በአንድ ላይ ተቆጥሮ አይቶ አያውቅም። በወረቀት የተጻፈለት ከዚያ ግማሽ አይሞላም፤ እሱም ይመጣል ይመጣል እየተባለ ነው።

ቆጪ ሰፈር፦
እኔ ይህን ሁሉ ስሰማ የሚመጣብኝ 2010 ነው። ጅማ አባ ጅፋር ባደገበት ዓመት የፕሪሚየር ሊጉን ዋንጫ ሲያነሳ ከተማው እንዴት እንደነበር የነበረ ያውቀዋል። ኦኪኪ አፎላቢ 23 ጎል አግብቶ ኮከብ ግብ አግቢ ሆነ። በዓመቱ በአፍሪካ ቻምፒየንስ ሊግ ከአል አህሊ ጋር ገጠመ። በ2014 ደግሞ ከሊጉ ወረደ። አራት ዓመት! ያን ዋንጫ ያነሱት ልጆች አንድ በአንድ ሲሄዱ እኛ ምን ስንል ነበር? «ይሂድ፣ ሌላ ይመጣል»። የኛ ክለብ ከዚያ ጋር የሚወዳደር አይደለም፣ አውቃለሁ። ጨዋታ የሚሠራ ሰው ግን ይህ አንድ ልጅ ነው። ተናድጄበታለሁ፤ ቢሄድ ግን ማን ኳስ ይዞ ቀና ብሎ ያያል?

የሄርማታው፦
ቅድም ሲራመድ ነበር አላልክም?

ቆጪ ሰፈር፦
ሲራመድም ቀና ብሎ ያያል።

ባጃጅ ነጂው፦
😂

ጋሼ ፊሽካ፦
ስለ ጨዋታው ከተነሳ፣ ሁለተኛውን ጎል ማን ልብ አለ? በ86ኛው ደቂቃ የማዕዘን ምት። ኳሷ ቅርብ ባለው የጎል ቋሚ በኩል፣ በደረት ከፍታ ነው የገባችው። ዓመቱን ሙሉ ማዕዘን ሲመታብን ያን ቋሚ ይዞ የሚቆመው ማነው? 10 ቁጥሩ። ሲወጣ ቦታውን ለማንም አልሰጡትም። የገባው ልጅ የፍጹም ቅጣት ምቱ ክልል መስመር ላይ ቆሞ በእጁ እያመለከተ ነበር። አሰልጣኙ አቻውን ሊያስጠብቅ ብሎ ቀየረ፤ መከላከሉን ይዞ የወጣው ግን የተቀየረው ሰው ነው። ስለዚህ የሽንፈቱን ሒሳብ ልጁ ላይ አትጻፉ። የጨርቁን ጻፉበት።

አዲስ አበባ ያለሁት፦
ይሄን ቪዲዮው ላይ አሁን መልሼ አየሁት። ቋሚው ባዶ ነው።

የሕግ ተማሪዋ፦
በ2005 ዋልያዎቹ ቦትስዋናን አሸንፈው ሦስቱን ነጥብ የተቀሙበትን አስታወሰኝ። ሁለት ቢጫ ያለበት ተጫዋች ገብቶ ነበር። ልጁ ምን አጠፋ? ካርዱን መቁጠር የቢሮ ሥራ ነበር። እኛ አገር የቢሮ ጥፋት ሁልጊዜ ማሊያ ለብሶ ነው የሚታየው።

ልብስ ሰፊው፦
ሰላም ናችሁ። ብዙ ጊዜ አልጽፍም። ያን ጨርቅ የሰፋሁት እኔ ነኝ፤ እዚሁ ጅማ መርካቶ ያለውን ሱቄን የምታውቁት ታውቁታላችሁ። ከሱቅ የተገዛው ክንዱ ላይ እየወረደ ሲያስቸግረው በጥቅምት መጥቶ ለካሁት፣ 27 ሴንቲ። የሱሪ ወገብ ላስቲክ ላይ ነጭ ጨርቅ አልብሼ «አ» የሚለውን በቀይ ክር ጻፍኩበት። እሁድ ማታ ኳስ አቀባዩ የእህቴ ልጅ ከነጭቃው አምጥቶ ሰጠኝ። ሳጥበው ምን አየሁ፦ ላስቲኩ ተበጥሷል፣ በመርፌ ቁልፍ ነው የተያያዘው። ቁልፉ ተከፍቷል፣ ጫፉም ወደ ውስጥ ታጥፏል። ክንዱን ሲወጋው ነበር ማለት ነው። ሲመነጭቀውም ለዚያ ሊሆን ይችላል።

የሄርማታው፦
ኧረ ወላሂ! አሁን ደግሞ መርፌ ወጋው ብለን ይቅር እንበለው?

ልብስ ሰፊው፦
እኔ ያየሁትን ነው። ጣቱን ከንፈሩ ላይ ሲያደርግ የወጋው መርፌ የለም፣ እሱን አውቃለሁ። ላስቲኩን ለመቀየር ግን 20 ብር አልጠይቀውም ነበር። ለምን እንዳልመጣ ነው የገረመኝ።

ባጃጅ ነጂው፦
ለምን እንዳልመጣማ ደብተሬ ላይ ተጽፏል።

ጋሼ ፊሽካ፦
እንግዲህ ሽማግሌ እንላክ። ሦስት ሰው ይበቃል። ልጁን ቁጭ አድርገን «ደጋፊህን ይቅርታ ጠይቅ» እንበለው፤ አሰልጣኙንም ያስታርቁ።

የሕግ ተማሪዋ፦
ጋሼ፣ ሽማግሌው መጀመሪያ ቢሮ ይሂድ። ሦስት ወር ያልተከፈለውን ሰው «አንተ ይቅርታ ጠይቅ» ማለት ለእኔ ሽምግልና አይመስለኝም። ደመወዙ የሚከፈልበትን ቀን በጽሑፍ ይዘው ይምጡ፣ ከዚያ ወደ ልጁ እኔም አብሬ እሄዳለሁ።

የሄርማታው፦
እሺ፣ የኔን ቃል ላስተካክል፣ ለሰው ብዬ ሳይሆን። አንደኛ፣ ደመወዙ ይከፈለው፣ የሁሉም ይከፈል፤ ይሄ ከጨርቁ ጋር አይገናኝም። ሁለተኛ፣ ይቅርታ ይጠይቅ፤ እኔም «ሽማግሌ» ያልኩትን እጠይቀዋለሁ፣ የዕድሜ እኩያዬ ነው። ውሉ ግን አይታደስ። የሚቀጥለው ዓመት ቡድን ልጆቹ ላይ ይሠራ። ከዚህ አልንቀሳቀስም።

ቆጪ ሰፈር፦
እኔ አንድ ዓመት ይታደስለት ባይ ነኝ። ሁለት ዓመቱ ለክለቡም ይከብዳል፤ ዘንድሮን ያልከፈለ የከርሞውን ከየት ያመጣል?

ጅረን በር (አወያይ)፦
የኔን ከጠየቃችሁኝ (አልጠየቃችሁኝም) አንድ ዓመት ይታደስ፣ አምበልነቱ ግን ለበረኛው ይሰጥ። የሄርማታው ስለ በረኛው ያለው ነገር ከትናንት ጀምሮ ከጭንቅላቴ አልወጣም። እሁድ ከጨዋታው በፊት ከቢሮው በር ላይ አምስት ሰው ሆነን እንገናኝ፤ ጋሼ፣ የሕግ ተማሪዋ፣ የሄርማታው፣ ባጃጅ ነጂው ከነደብተሩ፣ እኔ። የደመወዙን ቀን እንጠይቃለን። ልብስ ሰፊው፣ ጨርቁን ላስቲኩን ቀይረህ ብታመጣልን።

ልብስ ሰፊው፦
ላስቲኩንስ ቀይሬዋለሁ። ችግሩ የእህቴ ልጅ ዛሬ ጠዋት ክንዱ ላይ አስሮት ትምህርት ቤት ሄዷል። «የክፍላችን አምበል እኔ ነኝ» ይላል። መልስ ብለው 50 ብር ካልሰጣችሁኝ አልመልስም አለኝ።

ባጃጅ ነጂው፦
በእጁ ሳይቀበል እንዳይፈታ በለው።

ልብስ ሰፊው፦
ነግሬዋለሁ። ቅድሚያ ነው የሚፈልገው።