ለ7 ቀን ወደ ስፒቲ ሸለቆ፦ በማናሊ እንግባ ወይስ በሺምላ?

የቻንዲጋሯ፦

ሰላም ናችሁ ወገኖች። ሕንድ አገር ቻንዲጋር ነው የምማረው፤ ማስተርሴን ልጨርስ አንድ ሴሚስተር ቀርቶኛል። ወደ አገር ቤት ከመመለሴ በፊት ስፒቲን ሳላይ አልሄድም ብያለሁ። ለማታውቁት፣ ስፒቲ ሂማቻል ፕራዴሽ ውስጥ፣ ከቲቤት ድንበር አጠገብ ያለ የሂማላያ በረሃ ነው። የአሸዋ በረሃ አይደለም። ዛፍ የሌለው ተራራ፣ ግራጫ ወንዝ፣ እዚህም እዚያም ነጭ የጭቃ ቤት። ፎቶውን ካየሁ ጀምሮ ከልቤ አልወጣም።

የምንሄደው ሦስት ነን። ሁለታችን አዲስ አበባ ያደግን ነን፣ አንዱ የደብረ ብርሃን ልጅ ነው። መስከረም 5 ወጥተን ለደመራ መመለስ እንፈልጋለን። ያሰብነው እንዲህ ነው፦ ማታ በአውቶቡስ ከቻንዲጋር ወደ ማናሊ፣ ጠዋት ስንደርስ መኪና ተኮናትረን ቀጥታ ቻንድራታል ሐይቅ፣ እዚያ ድንኳን ውስጥ አድረን በማግስቱ በኩንዙም የተራራ ማለፊያ በኩል ካዛ መግባት። ከዚያ ኪ ገዳም፣ ላንግዛ፣ ሂኪም፣ ኮሚክ፣ ታቦ እያልን በሰባተኛው ቀን በሺምላ በኩል መመለስ።

ስለ ከፍታ ሕመም ብዙ ሰው ሲያወራ እሰማለሁ፤ ግን እኛ የደጋ ልጆች ነን፣ ይህን ያህል ያሰጋናል? ለውጭ አገር ዜጋ ፈቃድ ያስፈልጋል የሚሉም አሉ። ደግሞ እኔ ረቡዕና አርብ እጾማለሁ፤ እዚያ ምን ይበላል? የሄደ ሰው ካለ እባካችሁ ያወቃችሁትን ንገሩኝ።

መንገደኛው፦

እህቴ፣ ይህን ፕሮግራም ገልብጪው። እኔ ከሁለት ዓመት በፊት የሄድኩት ልክ ባንቺ መንገድ ነው። ከዴልሂ ማታ ተነስቼ ጠዋት ማናሊ ደረስኩ፣ ፊቴን እንኳ በወጉ ሳልታጠብ ወደ ቻንድራታል ጉዞ። ሾፌሩ ቶሎ እንድረስ እያለ ያጣድፈን ነበር። ማናሊ 2,000 ሜትር ገደማ ነው፤ ሐይቁ ወደ 4,300 ሜትር ይጠጋል። በአንድ ቀን ከ2,000 ሜትር በላይ ወጣን ማለት ነው።

ከሌሊቱ ሰባት ሰዓት ላይ ራሴን ያመኝ ጀመር። ተራ ራስ ምታት አልነበረም። የበላሁትን በሙሉ አስመለስኩት፣ ስተኛ ትንፋሽ ያጥረኛል፣ ቁጭ ብዬ አነጋሁ። እዚያ ሐኪም የለም፣ ስልክ አይሠራም፣ መንገዱም በጨለማ የሚነዳ አይደለም። ጠዋት ጓደኞቼ ደግፈው መኪና ውስጥ አስገቡኝና ወደ ማናሊ ተመለስን። ያን ሁሉ ወራት ያጠራቀምኩለትን ስፒቲን ሳላይ ቀረሁ።

በዓመቱ በሺምላ በኩል ሞከርኩ። ሺምላ 2,200 ሜትር ገደማ ነው፣ ካልፓ ደግሞ 3,000 ሊሞላ ትንሽ የቀረው፣ ታቦ ወደ 3,300፣ ካዛ ወደ 3,700። ደረጃ በደረጃ ነው የሚወስድሽ። ካዛ ስደርስ ሽቅብ ስሄድ ከማለክለክ በቀር ምንም አልሆንኩም። መንገዱ ረጅም ነው፣ ከሺምላ ካዛ ከ400 ኪሎ ሜትር በላይ ነው፣ በማናሊ ግን 200 ገደማ። ሰው በማናሊ የሚገባውም ለዚሁ ነው፤ በካርታ ላይ ሲያዩት አጭር ነዋ! ግን በዚያ በማናሊው መንገድ ከግራምፉ እስከ ሎሳር ያለው አብዛኛው ኮረኮንች ነው፣ ጅረት መንገዱን አቋርጦ ይሄዳል፣ ከሰዓት በኋላ በረዶው ሲቀልጥ ውሃው ይሞላል። በማናሊ መውጣት እንጂ መግባት አልመክርም።

አንድ ነገር ልጨምር። ቻንድራታልን ለመጨረሻ ቀን አድርጉት፣ የአየር ትንበያውን ሳታዩም እንዳትሄዱ። በፈረንጆቹ 2023 ሐምሌ ላይ ድንገት በጣለ በረዶ ወደ 300 የሚጠጉ ቱሪስቶች እዚያ ሐይቅ አጠገብ ለቀናት መውጫ አጥተው ነበር። በሐምሌ እንዲህ ከሆነ በመስከረምም ሊጥል ይችላል።

ሐኪሙ፦

"የደጋ ልጆች ነን" ያልሽው ላይ መቆም አለብን፤ ይህን ጥያቄ አበሻ ሁሉ ይጠይቀዋል።

አዲስ አበባ 2,300 ሜትር ገደማ፣ ደብረ ብርሃን ደግሞ 2,800 ገደማ ነው። እውነት ነው፣ እዚያ የሚኖር ሰው ሰውነቱ ለስስ አየር ለምዷል። ግን እናንተ አሁን የምትኖሩት ቻንዲጋር ነው፤ ከባሕር ወለል 320 ሜትር ገደማ። ሰውነት የለመደውን ከፍታ ቆላ ወርዶ ጥቂት ሳምንታት ሲቆይ ይረሳዋል። ሁለት ዓመት ዝቅ ብሎ የኖረ የደብረ ብርሃን ልጅ ካዛ ሲደርስ እንደ አዲስ ነው የሚጀምረው። ደግሞ የምትሄዱበት ከፍታ ከደብረ ብርሃንም በላይ ነው። ኮሚክ መንደር ወደ 4,600 ሜትር ይጠጋል፤ የራስ ዳሸን ጫፍ ላይ ቤት ሠርቶ እንደመኖር ቁጠሪው።

በአየሩ ውስጥ ያለው የኦክስጅን ድርሻ የትም ያው 21 በመቶ ነው፤ የሚቀንሰው የአየሩ ግፊት ነው። ካዛ ላይ ግፊቱ ከባሕር ወለል ሲነጻጸር ሁለት ሦስተኛ አይሞላም። ስለዚህ በእያንዳንዱ ትንፋሽ የምታገኙት ኦክስጅን በዚያው ልክ ያንሳል። ሰውነት ቶሎ ቶሎ በመተንፈስና ደሙን በማስተካከል ይቋቋመዋል፤ ግን ቀናት ይፈልጋል። ጉልበት እዚህ ላይ አይሠራም። ጎንደር ስሠራ ሰሜን ተራሮች ላይ ታመው የሚወርዱ ጎብኚዎች ይመጡልን ነበር፤ ብዙዎቹ ወጣትና ስፖርተኛ ነበሩ፣ ምክንያቱም ፈጥነው የሚወጡት እነሱ ናቸው።

ዋናው የምትተኙበት ከፍታ ነው። ቀን ከፍ ብላችሁ ውላችሁ ማታ ዝቅ ብላችሁ እደሩ። ከ3,000 ሜትር በላይ የመኝታችሁ ከፍታ በቀን ከ500 ሜትር በላይ ባይጨምር ይመረጣል። ለዚህ ነው በሺምላው መንገድ ላይ ካለችው ናኮ መንደር ከማደር ታቦ ማደር የሚሻለው፤ ናኮ ወደ 3,600 ሜትር ነው፣ ታቦ ዝቅ ይላል።

ዲያሞክስ የሚባለው መድኃኒት ይረዳል። ለመከላከል የሚሰጠው አብዛኛውን ጊዜ 125 ሚሊ ግራም በቀን ሁለቴ ነው፤ ከመውጣት አንድ ቀን በፊት ይጀመራል። የሰልፋ መድኃኒት የማይስማማው ሰው ግን ስላለ ሐኪም ሳታማክሩ እንዳትጀምሩት። አልኮል ይቅርባችሁ። ራስ ምታት ከማቅለሽለሽ ጋር ከመጣ እዚያው ማረፍ ነው፣ አንድ ሜትር እንኳ መጨመር የለም። አንዱ እንደ ሰካራም ከተንገዳገደ፣ ንግግሩ ከተዘበራረቀ፣ ወይም ቁጭ ብሎም ትንፋሽ ካጠረው፣ ሌሊትም ቢሆን መንገዱ እስከፈቀደ ድረስ ወዲያው ወደ ታች ይውረድ። "እስኪነጋ እንይ" እያሉ ነው ሰው የሚሞተው።

የቻንዲጋሯ፦

ዶክተር፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። መንገደኛው፣ አንተም ተባረክ፤ ለጓደኞቼ የጻፍከውን ሳነብላቸው ዝም አሉ። በተለይ የደብረ ብርሃኑ ልጅ "እኔን ብርድና ከፍታ አይነካኝም" ሲል ነበር የሰነበተው። በሺምላ እንገባለን፣ ሰባቱን ቀንም ወደ 10 ቀን ከፍ አድርገነዋል። ፈቃዱና ጾሙ ነገር ቀረ።

ሁለቴ የሄድኩ፦

እኔ ዴልሂ ነው የምኖረው። አንዴ በሰኔ አንዴ በመስከረም ሄጃለሁ፤ መስከረም ይሻላል። ሐምሌና ነሐሴ ስፒቲ ራሱ ብዙ አይዘንብበትም፣ ተራሮቹ ዝናቡን ያስቀሩታል፤ ግን ከሺምላ በኪናውር ወረዳ በኩል የምትሄዱበት መንገድ ላይ ናዳ ይወርዳል። መስከረም አጋማሽ ላይ ይቀንሳል እንጂ አይጠፋም፤ አንድ ትርፍ ቀን ያዙ።

ፈቃድ ያስፈልጋችኋል። ካልፓ አጠገብ ካለችው ከሬኮንግ ፒዮ ከተማ እስከ ታቦ ያለው መንገድ ለቻይና ድንበር ቅርብ ስለሆነ የውጭ ዜጋ ኢነር ላይን ፐርሚት ይዞ ነው የሚያልፈው። የተማሪ ቪዛ ያለውም የውጭ ዜጋ ነው። ሺምላ ወይም ሬኮንግ ፒዮ ታወጣላችሁ። ፓስፖርት፣ ቪዛ፣ የኤፍ አር አር ኦ (የውጭ ዜጎች ምዝገባ ቢሮ) ወረቀታችሁን ከነፎቶ ኮፒው፣ ጉርድ ፎቶም ያዙ። እሑድ ቢሮ ዝግ ስለሆነ ቀኑን አስቡበት። ሱምዶ ኬላ ላይ ያዩታል። እኔ ፒዮ ነው ያወጣሁት፣ ካልፓ አድሬ። ለከፍታውም አንድ ቀን ማረፊያ ሆነልኝ።

ገንዘብ ሺምላ ወይም ፒዮ ላይ አውጡ። እዚህ በስልክ መክፈል ለምደናል፣ መንደሮቹ ላይ ግን ኔትወርክ ስለማይታመን ጥሬ ገንዘብ ነው የሚያዋጣው። ካዛ ያለውን ኤቲኤም አትመኑት፤ እኔ ስሄድ ባዶ ነበር።

ምግቡ ደስ ይልሻል። ላንግዛ አንድ ቤተሰብ ጋ ሁለት ሌሊት አደርኩ። ጠዋት እማወራዋ ጻምፓ አቀረቡልኝ፤ ስቀምሰው በሶ! ገብስ ተቆልቶ ተፈጭቶ፣ በእጅ እየታሸ፣ ልክ እንደ ጭብጦ። እንባዬ መጣ፤ እናቴ ለመንገድ ስታዘጋጅልኝ ታየኝ። እነሱ የሚያሹት በጨውና በቅቤ በተመታ ሻይ ነው፤ ስለዚህ ረቡዕና አርብ በውሃ አድርጉልኝ በይ። ምስርና ሩዝ የትም አለ። ግን ምስሩን በቅቤ ነው የሚያቁላሉት፣ "በዘይት" ብለሽ አስቀድመሽ ንገሪያቸው። ቤቱን የሚያሞቁት በኩበት ነው፣ ሽታው ራሱ አገር ቤት ይወስድሻል። መጸዳጃው ውሃ የማይገባበት ነው፤ ለማዳበሪያ ስለሚጠቀሙበት ፕላስቲክ እንዳትጥሉበት።

ታቦን ግን እባካችሁ በሩጫ አትለፉት። ገዳሙ የተመሠረተው በ996 ነው፤ የላሊበላ አብያተ ክርስቲያናት ሠሩ ከሚባሉበት ዘመን ሁለት መቶ ዓመት ገደማ ይቀድማል። ከውጭ ስታዩት ተራ የጭቃ ግድግዳ ነው። ውስጡ ጨለማ ነው፤ ዓይን ሲለምድ ግድግዳው በሙሉ ሥዕል ሆኖ ብቅ ይላል፣ ሺህ ዓመት የሞላው ሥዕል። ፎቶ ክልክል ነው፣ ባትሪ ያዙ፣ ጫማ አውልቁ። እኔ ግማሽ ቀን ተቀምጬ አልጠገብኩም።

ላንግዛ ላይ ልጆች ቀንድ አውጣ የመሰለ ድንጋይ ሊሸጡላችሁ ይመጣሉ። ሂማላያ ከመነሳቱ በፊት እዚያ ባሕር ነበር፣ የዚያ ባሕር እንስሳት ናቸው ድንጋይ ሆነው የቀሩት። አትግዟቸው፣ ከዚያ አፈር መውጣት የለባቸውም። ለልጆቹ ደብተርና እስክሪብቶ ይዤ ብሄድ ኖሮ እላለሁ እስከ ዛሬ።

መንገደኛው፦

እንግዲህ እንዲህ አድርጉት፦ ሺምላ አንድ ሌሊት፣ ካልፓ ሁለት፣ ታቦ አንድ፣ ከዚያ በዳንካር በኩል ካዛ ገብታችሁ እዚያ ሦስት ሌሊት። ኪ ገዳምን በአንዱ ቀን፣ ላንግዛን፣ ሂኪምንና ኮሚክን በሌላው ቀን አይታችሁ ማታ ማታ ካዛ ተመለሱ። ላንግዛ ማደር ካማራችሁም ከካዛው ሦስት ሌሊት በኋላ ይሁን። መጨረሻ ላይ ሁላችሁም ጤና ከሆናችሁና ሰማዩ ጥሩ ከሆነ ቻንድራታል አድራችሁ በማናሊ ውጡ። ከፒዮ ካዛ የመንግሥት አውቶቡስ አለ፣ ማለዳ ነው የሚነሳው።

የቻንዲጋሯ፦

ኮፒ አድርጌዋለሁ፤ ቃል በቃል እንከተለዋለን። አንድ የመጨረሻ ጥያቄ። ሂኪም ያለው ፖስታ ቤት በ4,400 ሜትር ላይ ነው ይባላል። ከዚያ ለእናቴ ፖስት ካርድ መላክ ፈልጌ ነበር፣ አዲስ አበባ ይደርሳል?

ሁለቴ የሄድኩ፦

ይደርሳል። እኔ የላክሁት ከወር በላይ ቆይቶ ደርሷል፣ እናቴ ሳሎን ሰቅላዋለች። የቤት አድራሻ አትጻፊ፣ የፖስታ ሳጥን ቁጥር ነው የሚያስፈልገው። እናትሽ ከሌላቸው የመሥሪያ ቤት ወይም የዘመድ ቁጥር ከአሁኑ ጠይቀሽ ያዢ፤ እዚያ ከወጣሽ በኋላ ለመደወል ኔትወርኩ አይታመንም።