«ኖርዘርሊ» ወደ ሰሜን ነው ወይስ ከሰሜን? የአይስላንድ ነፋስ ትርጉም ላይ ተቸግሬያለሁ

የሳቢያን ልጅ፦

ሰላም ለሁላችሁ። ድሬ ነኝ። ቪዲዮ ላይ ከሥር የሚወጣውን ጽሑፍ ከእንግሊዝኛ ወደ አማርኛ እየመለስኩ ነው የምተዳደረው። ሰሞኑን ስለ አይስላንድ ዓሣ አጥማጆች የሚያወራ ሥራ ደረሰኝ፣ አስረከብኩ፣ ሁለት ቀን ሳይሞላ ተመለሰልኝ። አሠሪው «ነፋሱን በሙሉ ገልብጠኸዋል» አለኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። እንግሊዝኛው «ኖርዘርሊ» ይላል። እኔ «ወደ ሰሜን የሚነፍስ ነፋስ» አልኩት። አሥራ አንድ ቦታ ላይ እንደዚያ ነው የጻፍኩት። ከዚያ መልሼ ሳየው፣ ሽማግሌው ነፋሱ ሲጀምር ኮሌታውን ወደ ላይ ያነሳና ጀርባውን ያዞራል፣ ወዲያው በረዶ ይመጣል። ወደ ሰሜን የሚሄድ ነፋስ እዚያ አገር በረዶ ያመጣል? እዚህ ጋ ነው የተጠራጠርኩት። ችግሩ ሌላ ቦታ ደግሞ «ኖርዝዋርድ» የሚል አለ፣ እሱንም «ወደ ሰሜን» ብዬዋለሁ። ሁለቱ አንድ ናቸው ወይስ አይደሉም?

ሌላም አለ። ሽማግሌው አንዴ በራሱ ቋንቋ «ላንድኖርዱር» ይላል። ትርጉሙ ሰሜን ምሥራቅ ተብሏል። «ላንድ» መሬት ነው፣ «ኖርዱር» ሰሜን ነው። ምሥራቁ ከየት መጣ?

ሦስተኛው የነፋስ ስሞቹ ናቸው። ጎላ፣ ኩል፣ ካልዲ ይላል፣ እንግሊዝኛው ሁሉንም «ብሪዝ» ብሎ ያልፋቸዋል፣ እኔም ሦስቱንም «ለስላሳ ነፋስ» አልኳቸው። አልተዋጠልኝም። ሰውየው ሦስት የተለያየ ነገር እያወራ እኔ አንድ ቃል ነው የሰጠሁት። የምታውቁ ካላችሁ እርዱኝ፣ እስከ ዓርብ አስተካክዬ መመለስ አለብኝ።

አጭር መልስ፦

«ሰሜናዊ ነፋስ» በለውና ተገላገል።

ባሕረኛው፦

ወንድሜ፣ አሠሪህ ልክ ነው። ነፋስ የሚጠራው በመጣበት ነው። «ኖርዘርሊ» ከሰሜን የመጣ፣ «ኖርዝዋርድ» ወደ ሰሜን የሚሄድ። እኔ የድሬ ልጅ ነኝ፣ ባሕር ዳር ሠልጥኜ መርከብ ላይ ነው የምሠራው፣ መጀመሪያ ሰሞን እኔንም አምታቶኝ ነበር።

ይበልጥ የሚያምታታው ግን የውሃው ነው። ባሕር ውስጥ እንደ ወንዝ የሚሄደው ጅረት የሚጠራው በሚሄድበት ነው። ስለዚህ «ኢስተርሊ» ነፋስ ከምሥራቅ ይመጣል፣ «ኢስተርሊ» ጅረት ደግሞ ወደ ምሥራቅ ይሄዳል። አንድ ቃል፣ ሁለት ተቃራኒ አቅጣጫ። ለእኔ የገባኝ እንዲህ ነው፦ ነፋስን የምትጠይቀው «ምን ይዘህ መጣህ» ብለህ ነው፣ ጅረትን የምትጠይቀው «የት ልትወስደኝ ነው» ብለህ። ዓሣ አጥማጆቹ ስለ ጅረትም የሚያወሩ ከሆነ እዚያ ላይ ተጠንቀቅ።

ለሦስተኛው ጥያቄህ። ፍራንሲስ ቦፎርት የሚባል የእንግሊዝ ባሕር ኃይል መኮንን በፈረንጆቹ 1805 ነፋስን ከ0 እስከ 12 ደረጃ አወጣለት። እስከ ዛሬ እንጠቀምበታለን። እንግሊዝኛው ከ2 እስከ 6 ያለውን አምስቱንም ደረጃ «ብሪዝ» ነው የሚለው፣ ከፊቱ «ቀላል» «ጠንካራ» ምናምን እየጨመረ። ስለዚህ ደረጃውን ካወቅክ የሚያደርገውን ነገር መጻፍ ትችላለህ። 3 ላይ ቅጠልና ቀጭን ቀንበጥ ሳያቋርጥ ይንቀሳቀሳል። 4 ላይ አቧራና ወረቀት ይነሳል። ደቻቱ ድልድይ ላይ ቆመህ ከታች አሸዋው እየተነሳ ዓይንህ ውስጥ ከገባ 4 ደርሰሃል ማለት ነው። 6 ላይ ትልልቁ ቅርንጫፍ ይወዛወዛል፣ ጃንጥላ መያዝ ያስቸግራል።

የለገሃሬዋ፦

አቦ ደስ አለኝ ይሄን ጥያቄ ሳይ! ለገሃሬ ነው ያደግኩት፣ አሁን ግን የአይስላንድ ዋና ከተማ ሬይክያቪክ ነው የምኖረው። እዚህ ነፋስ የዕለት ተዕለት ወሬ ነው፣ ድሬ ስለ ሙቀቱ እንደምናወራው።

መጀመሪያ ስለ አቅጣጫው። እኛ «ከ»፣ «ወደ»፣ «በ» እያልን ከፊት እንጨምራለን፣ እነሱ የቃሉን መጨረሻ ይለውጣሉ። «ኖርዱር» ካሉ ወደ ሰሜን ነው። «ኖርዳን» ካሉ ከሰሜን። እዚያው ሰሜን ያለ ነገር ከሆነ «ፊሪር ኖርዳን»። ሌሎቹም እንደዚያ ናቸው፣ «ሱዱር» ወደ ደቡብ፣ «ሱናን» ከደቡብ። ስለዚህ ትንበያው «ኖርዳን» ካለ ነፋሱ ከየት እንደመጣ ቃሉ ውስጥ አለ፣ ማንም አይሳሳትም። የእንግሊዝኛውን ትተህ ሽማግሌውን ስማው፣ ከፊቱ «ፊሪር» ሳይል ቃሉን በ«አን» ከጨረሰ «ከ» ብለህ ጻፍ።

አሁን «ላንድኖርዱር»። ይሄ የሚገርም ቃል ነው። አይስላንድ የሰፈሩት ብዙዎቹ ከኖርዌይ የመጡ ናቸው፣ የዛሬ 1100 ዓመት ገደማ። የኖርዌይን ምዕራብ ዳርቻ አስበው። ቆመህ ወደ ሰሜን ብታይ በስተቀኝህ፣ ማለት ምሥራቅ፣ መሬት ነው። በስተግራህ ባሕር ነው። ስለዚህ በመሬት በኩል ያለው ሰሜን፣ ሰሜን ምሥራቅ ሆነ፤ «ላንድኖርዱር»። በውጭ በኩል፣ በባሕሩ በኩል ያለው ሰሜን ደግሞ ሰሜን ምዕራብ ሆነ፤ «ኡትኖርዱር»፣ «ኡት» ውጭ ማለት ነው። ደቡቡም እንደዚሁ፦ «ላንድሱዱር» ደቡብ ምሥራቅ፣ «ኡትሱዱር» ደቡብ ምዕራብ። ሰዎቹ ባሕር አቋርጠው ሲመጡ ቃሉን ይዘውት መጡ። አሁን በአይስላንድ ምሥራቅ ዳርቻ የሚኖር ሰው «ላንድሱዱር» ብሎ ሲያይ ፊቱ ያለው ባሕር ብቻ ነው። መሬቱ ኖርዌይ ቀርቷል፣ ቃሉ ግን አለ።

በጉዞም እንደዚያ ናቸው። አኩሬይሪ የምትባለው ከተማ ከሬይክያቪክ ሰሜን ምሥራቅ ናት፣ ግን ሁሉም «ኖርዱር ሄደ» ነው የሚለው። ሲመለስ «ሱዱር»። እኛ ሐረር «ወጣሁ»፣ ድሬ «ወረድኩ» እንደምንለው ነው፣ ኮምፓስ የሚያወጣ የለም።

የነፋሶቹ ደረጃ እንዲህ ነው። «ሎግን» ጸጥ ያለ፣ ምንም የለም። «አንድቫሪ» 1 ነው። «ኩል» 2፣ «ጎላ» 3፣ «ካልዲ» 5። ከፍ ሲል «ስቶርሙር» 9፣ «ሮክ» 10፣ «ፋውርቪድሪ» 12፣ እሱ በሴኮንድ ከ32 ሜትር በላይ የሚሄድ ነው። እዚህ ትንበያው ሁሉ በሴኮንድ ሜትር ነው። የመጀመሪያው ክረምት ላይ የመኪና በር በአንድ እጄ ስከፍት ነፋሱ ነጥቆ እስከ መጨረሻው ወረወረው፣ ማጠፊያው ተጣመመ። ከዚያ ወዲህ መኪና ሳቆም መጀመሪያ ነፋሱ ከየት እንደሆነ አያለሁ፣ አፍንጫዋን ወደ ነፋሱ አዙሬ ነው የማቆማት፣ በሩን በሁለት እጄ ይዤ ነው የምወርደው። ያኔ ነው «ከ» እና «ወደ» ለምን እንደሚለያዩ በደንብ የገባኝ።

አንድ የምወደው ቃል ልጨምርልህ፣ «ግሉጋቬዱር»። የመስኮት አየር ማለት ነው። ከውስጥ ሆነህ ስታየው ፀሐይ፣ ሰማዩ ጥርት ያለ፣ ስትወጣ ግን ነፋሱ አጥንት ይገባል። በመስኮት ብቻ የሚያምር። እንግሊዞቹ ደግሞ መስኮትን «ዊንዶው» የሚሉት ከድሮ ኖርሶች (ከጥንት የስካንዲኔቪያ ሰዎች) ተቀብለው ነው፣ «ቪንዳውጋ»፣ የነፋስ ዓይን።

ኤረር በር፦

ልጆች፣ ሐረር ሆኜ ነው የማነባችሁ። «ሰሜናዊ ነፋስ በለው» ያልከው፣ አይሆንም። አማርኛ አንባቢ «ሰሜናዊ» ሲል ከየት ይሁን ወደ የት አያውቅም፣ ችግሩን ደብቆ ማለፍ ነው። «ከሰሜን የሚመጣ» ይባል፣ አለቀ።

የመሬቱ ሰሜን ነገር ግን ትልቅ ነገር አስታወሰኝ። የኛም «ሰሜን» ተሰድዷል። የሰሜን ተራሮች ለምን «ሰሜን» ተባሉ? የታሪክ ምሁሩ ሪቻርድ ፓንክኸርስት እንደጻፉት ቃሉ ጥንት በግዕዝ ደቡብ ማለት ነበር። ማዕከሉ አክሱም ነበር፣ ከአክሱም ሲታዩ ተራሮቹ ደቡብ ናቸው። በኋላ ማዕከሉ ወደ ደቡብ ወረደ፣ ተራሮቹም ሰሜን ሆኑ፣ የቃሉም ትርጉም አብሮ ዞረ። ኖርዌዮቹ ቃሉን ይዘው ሄዱ፣ እኛ ደግሞ ሰዉ ሲንቀሳቀስ ቃሉ ዞረ።

ፀሐይ ያለችበቱ ግን አይዞርም። «ምሥራቅ» ሠረቀ ከሚለው ነው፣ ወጣ ማለት። «ምዕራብ» ዐረበ፣ ጠለቀ። መግሪብ ሰላትም ያው ሥር ነው። ኦሮምኛውም «ባሃ» ሲል መውጣቷን፣ «ዺሃ» ሲል መጥለቋን ነው። የእንግሊዞቹ «ኢስት»ም ሥሩ ንጋት ነው።

እኔ ልጅ ሆኜ አቅጣጫ የተማርኩት በበር ነው። ጀጎል ውስጥ ሰሜን የሚል አልነበረም፣ ፈላና በር ነው። ምሥራቅ ኤረር በር፣ ደቡብ ቡዳ በር፣ ምዕራብ ሸዋ በር፣ በደቡብና በምሥራቅ መካከል ሰንጋ በር። ሸዋ በር የተባለው ወደ ሸዋ ስለሚያስወጣ ነው፣ ባሕረኛው እንዳለው ጅረት፣ በሚሄድበት ተጠራ። ነፋሱን ግን እናቴ ሁሌም በመጣበት ነበር የምትጠራው። ቤታችን ጣሪያ ላይ በርበሬ አስጥታ «ከፈላና በኩል መጣ» ካለች ሮጠን ጆንያውን ድንጋይ እንጭንበት ነበር። እንዴት ነፋስ በሚሄድበት ይጠራል? ሲሄድ በርበሬውን ይዞት ሄዷላ።

የሳቢያን ልጅ፦

ጋሼ፣ እግዜር ይስጥልኝ። ሁላችሁንም። ትናንት ማታ ጀምሬ አሥራ አንዱንም አስተካከልኩ፣ «ከሰሜን የሚመጣ ነፋስ» ብዬ። አቅጣጫውን ደግሞ ራሴን ለማለማመድ ውጭ ወጥቼ ቆምኩ። ሠፈራችን ያለው መስጊድ ቂብላው ወደ ሰሜን ነው፣ ትንሽ ወደ ምዕራብ ያዘነብላል። ፊቴን ወደዚያ አዙሬ «ኖርዱር» አልኩ። ነፋሱ ፊቴን ሲመታኝ «ኖርዳን»። አሁን አይጠፋኝም።

ጎላን «ቅጠል የሚያወዛውዝ ሽውታ» አልኩት። ኩልን «ሽውታ» ብቻ። ካልዲ ከ4 በላይ ስለሆነ «ብርቱ ነፋስ» አልኩ። አንድ ቃል ቀርታኛለች። ሽማግሌው መጨረሻ ላይ «ኡትሲኒንጉር» ይላል። የለገሃሬዋ፣ ከ«ኡትሱዱር» ጋር ይያያዛል?

የለገሃሬዋ፦

አዎ፣ ያው ነው። ከደቡብ ምዕራብ፣ ከባሕሩ በኩል የሚመጣ ነፋስ ነው። ዝናብ ይዞ ይመጣል፣ ክረምት ላይ በረዶ ይዞ፣ ደግሞ አንዴ አይደለም። ይጥልና ያባራል፣ ፀሐይ ትወጣለች፣ ተመልሶ ይጥላል።

የሳቢያን ልጅ፦

«ወጨፎ» ልበለው?

ኤረር በር፦

ወጨፎ ነፋስ እየገፋው በር ላይ የሚገባው ዝናብ ነው፣ ነፋሱ ራሱ አይደለም። «ውሽንፍር» ይቀርባል። ግን ውሽንፍር ከየትም ይመጣል። «የደቡብ ምዕራብ» ብቻ ብትለው ደግሞ ያው የመጀመሪያው ችግር ነው። «ከደቡብ ምዕራብ የሚመጣ ውሽንፍር» በለው፣ ትንሽ ይረዝማል።

የሳቢያን ልጅ፦

ሁለት መስመር ላይ ይገባልኛል፣ ሽማግሌው ቀስ ብሎ ነው የሚያወራው። እንደዚያ አድርጌዋለሁ።