ለካውንቲ ትርዒት የምናደልበው ሰንጋ መኖ መብላት ስለቀነሰ ምክር እንጠይቃለን

በአሜሪካ፣ ሚኒሶታ ግዛት ገጠር የምንኖር ቤተሰብ ነን። የ13 ዓመት ልጃችን በፎር ኤች የወጣቶች መርሐ ግብር ታቅፋ፣ በበጋው ማብቂያ በካውንቲያችን (እንደ ወረዳ ያለ አስተዳደር ነው) የከብት ትርዒት ላይ የምታቀርበውን ጥቁር አንገስ የተባለ የሥጋ ከብት ዝርያ ሰንጋ ካለፈው መኸር ጀምሮ በራሷ እጅ እየቀለበች፣ እያጠበችና በገመድ መመራትን እያለማመደች አሳድጋዋለች።

ሰንጋው አሁን 476 ኪሎ ይመዝናል፤ በቀሩት 65 ቀናት 567 ኪሎ እንዲደርስልን በቀን 1.4 ኪሎ ያህል መጨመር አለበት። እኛ ወላጆቿ ግን ቸኩለን የበቆሎውን መጠን በአንድ ሳምንት ውስጥ በእጥፍ ስላሳደግንበት መኖውን ማስተረፍ ጀመረ፣ እበቱም ቀጠነ። የእንስሳት ሐኪሙ በጨጓራው ውስጥ አሲድ እንደበዛ ነግረውን፣ እህሉን ቀንሰን ድርቆሽ እንድናበዛ አዘዙን። እበቱ ተስተካክሏል፤ የመብላት ፍላጎቱ ግን እንደቀድሞው አልሆነም። ጥፋቱ የእኛ ሆኖ ሳለ ልጅቷ ራሷን መውቀሷ በጣም ያሳዝነኛል።

ሐረርጌ ያደግሁ ነኝና እኔ የማውቀው ማድለብ፣ የማሽላና የበቆሎ አገዳ በእጅ እያጎረሱ ለወራት መታገሥን ነው፤ በእህል የማፋጠኑ ሥራ ለእኔ አዲስ ነው።

ስለዚህ በዚህ ሥራ ያለፋችሁ ወገኖች፣ እህሉን በስንት ቀን ልዩነትና በምን ያህል መጠን ከፍ እያደረግን ብንመልስ ሕመሙ እንደማያገረሽበት ብትነግሩን እናመሰግናለን። ቀኑ ስለሚሞቅ ማለዳና ማታ ብቻ መቀለቡ ይረዳው ይሆን? የታሰበው ክብደት ላይ መድረስ እንደማይችል ከታያችሁም በግልጽ ንገሩን፤ ልጃችንን ከአሁኑ እናዘጋጃታለን እንጂ እንስሳውን ዳግመኛ ማስጨነቅ አንፈልግም።