ገመድ አልባው ኤርፎን ባለገመዱን በድምፅ ደርሶበታል?

አስተባባሪ
የሳምንቱ ክርክር ይኸው። በድምፅ ጥራት ብቻ ስንመዝነው፣ ገመድ አልባው ኤርፎን ባለገመዱን ደርሶበታል ወይስ ገና ነው? ምቾትና መልክ ለዛሬ ይቅሩ። "ገመዱ ኪሴ ውስጥ ይተበተብብኛል" የሚለውም ይቅር። ዋጋ ፈጽሞ አይነሳ፤ ባለፈው ዋጋ ተነስቶ ምን እንደሆንን ታውቃላችሁ። ስድብም የለም። "ጆሮህን ታጠብ" ስድብ ነው፣ ምክር አይደለም።

ባለገመዱ
አልደረሰበትም። በቁጥር ላስረዳ። ሲዲ ላይ ያለ ሙዚቃ በሰከንድ 1,411 ኪሎቢት መረጃ ነው። ብሉቱዝ ይህን ሁሉ መሸከም ይከብደዋል። ስለዚህ ስልኩ ሙዚቃውን ጨምቆ ነው የሚልከው። የሚጨምቅበት ዘዴ ኮዴክ ይባላል። ለሙዚቃ የተለመደው የብሉቱዝ አሠራር በግድ የሚጠይቀው ኤስቢሲ የሚባለውን ኮዴክ ነው፤ እሱ በተለመደው ልኩ ቢበዛ 328 ኪሎቢት ያህል ያሳልፋል። አይፎን የሚጠቀመው ኤኤሲ 256 አካባቢ ነው። የሶኒው ኤልዳክ እንኳ ሁሉ ነገር ተመቻችቶለት 990 ነው። ሲግናሉ ከደከመ ወደ 660፣ ሲብስበትም ወደ 330 ይወርዳል። የቀረው የት ሄደ? ተጣለ። ገመድ ግን የሰጡትን ያደርሳል። መዳብ ነው፤ ይህን ልውሰድ ያንን ልተው አይልም።

ቻርጅ 5%
ጋሼ፣ አክብሮቴ እንዳለ ሆኖ፣ ያ 1,411 ስልክዎ ላይ አለ እንዴ? አብዛኞቻችን የምንሰማው ከኢንተርኔት ነው። ስፖቲፋይ ራሱ ለዓመታት ትልቁ ጥራቱ 320 ኪሎቢት ነበር። ታንከሩ ውስጥ ያለው ውኃ ትንሽ ከሆነ ቧንቧው ቢሰፋ ምን ይፈይዳል? ደግሞ መጨመቅ ማለት ያገኙትን ቆርጦ መጣል አይደለም። ጎላ ያለ ድምፅ አጠገቡ ያለውን ደካማ ድምፅ ይሸፍነዋል። ኮዴኩ በብዛት የሚተወው ያን የተሸፈነውን ነው። ድሮም አይሰሙትም ነበር።

ባለገመዱ
ግማሽ እውነት ይዘሃል ልጄ። ግን ከኢንተርኔት ተጨምቆ የመጣውን ስልኩ ይፈታዋል፣ ከዚያ ለብሉቱዝ ብሎ እንደገና ይጨምቀዋል። የፎቶ ኮፒ ፎቶ ኮፒ በለው። ደግሞ ዘመኑ ተቀይሯል። አፕል በፈረንጆቹ 2021 ምንም ያልተጣለበት ሙዚቃ ማቅረብ ጀመረ። የራሱ ኤርፖዶች ግን ያንን በብሉቱዝ ማጫወት አልቻሉም። በ2025 ጆሮ ለሚሸፍነው ለኤርፖድ ማክስ መፍትሔ መጣ። መፍትሔው ምን መሰለህ? የዩኤስቢ ሲ ገመድ! በ2016 አይፎን 7 ላይ የኤርፎኑን ቀዳዳ የደፈነው ኩባንያ እኮ ነው። ያኔ ኃላፊያቸው ፊል ሺለር መድረክ ላይ ቆሞ ምክንያቱን "ድፍረት" ነበር ያለው። ትዝ ባለኝ ቁጥር ያስቀኛል።

ሚክሰሩ
ስቱዲዮ ነው የምውለው። ሁለታችሁም የምትጣሉት በቧንቧው ነው፤ ጣጣው ያለው ግን ቧንቧው ጫፍ ላይ ነው። ሁለት ኤርፎኖች አንድ ዘፈን ሲያጫውቱ የሚሰማችሁ ልዩነት በአብዛኛው ከኮዴክ አይመጣም። ከሚዛን ነው የሚመጣው። ቤዙ ምን ያህል ገፋ? የዘፋኙ ድምፅ ወደ ፊት መጣ ወይስ ወደ ኋላ ሸሸ? ሲምባሉ ጆሮ ይወጋል?

ባለገመዱ ኤርፎን ውስጥ የሚያስብ ነገር የለም። ትንሿ ስፒከርና ቀፎዋ ያወጡት ድምፅ ያው ነው። ከተንሻፈፈ ተንሻፈፈ፤ ወይ ስልኩ ላይ ታስተካክላለህ ወይ ትለምደዋለህ። ገመድ አልባው ውስጥ ግን ቺፕ አለ። መሐንዲሱ ስፒከሩ የት ላይ እንደሚያጠፋ ይለካና በቺፑ ያርመዋል። ወደ ጆሮ ውስጥ በዞረች ማይክ የሚደርሰውን ድምፅ እየለኩ ቤዙን የሚያስተካክሉም አሉ። ይህ ቀላል ነገር እንዳይመስላችሁ። ብዙ ተራ ባለገመድ ኤርፎን በገመድ አልባ የሚበለጠው እዚህ ላይ ነው።

ሃርማን የተባለው የድምፅ ዕቃዎች ኩባንያ ተመራማሪ ሾን ኦሊቭ ከባልደረቦቹ ጋር ሰዎችን እያስደመጠ ዓመታት ፈጅቷል። አብዛኛው አድማጭ የሚወደው ሚዛን ተቀራራቢ ሆኖ አገኙት። ዛሬ "የሃርማን ከርቭ" የሚባለው ከዚያ የመጣ ነው። በ2017 ደግሞ አንድ ጥናት 283 ማዳመጫዎችን መርምሮ፣ በድምፅ ሚዛናቸውና በዋጋቸው መካከል ምንም ዝምድና አጣ። አስተባባሪ፣ ዋጋ አነሳሁ፣ ይቅርታ። ላናንቀው እንጂ ላወድሰው አይደለም።

አስተባባሪ
ለዛሬ ታልፏል። የመጨረሻ ይሁን።

ዝም ብዬ አድማጭ
እኔ ይህን ሁሉ ኪሎቢት አላውቅም። የማውቀውን ልናገር። ገመድ አልባዬን አንድ ዓመት ሙሉ "ቤዝ የለውም" እያልኩ ሳማው ኖርኩ። አንድ ቀን ታናሽ ወንድሜ ጆሮ ውስጥ የሚገባውን ጎማ አወለቀና ካርቶኑ ውስጥ ሳይነካ የተቀመጠውን ትልቁን ጎማ ገጠመበት። ሌላ ኤርፎን ሆነ! ለካ ቤዙ በጎን እየሾለከ ይወጣ ነበር። አሁን ሰው "የኔ ድምፁ አይረባም" ሲለኝ መጀመሪያ ጎማህን አሳየኝ ነው የምለው።

ሚክሰሩ
ይህ ከኔ ረጅም ጽሑፍ ይበልጣል። ጎማው ጆሮን ካልዘጋ ሌላው ሁሉ ከንቱ ነው፤ በገመድም ቢሆን ያለ ገመድ።

ድምፁ ዘገየ
ስሜን ያወጣልኝ ብሉቱዝ ነው። ቪዲዮ እቆርጣለሁ፣ ማታ ማታ ደግሞ ጌም አለ። በገመድ ሲሆን ድምፁና ምስሉ አብረው ናቸው። በብሉቱዝ ድምፁ ተጨምቆ፣ ተልኮ፣ ተፈትቶ እስኪደርስ ብዙ ጊዜ ከ100 ሚሊሰከንድ በላይ ይፈጃል። የቪዲዮ አፖች ብልጥ ናቸው፤ ምስሉን ትንሽ ያዘገዩና አፉንና ድምፁን ያገጣጥሙታል። ጌም ግን ያንን ማድረግ አይችልም። ስልክ ላይ ፒያኖ መንካትማ አትሞክሩት። ጣታችሁ ጨርሶ ሄዶ ድምፁ ከኋላ እየሮጠ ይመጣል።

ከሁሉ የሚያናድደኝ ግን ማይኩ ነው። ኮምፒውተር ላይ ሙዚቃ እየሰማሁ ስብሰባ እገባለሁ። ማይኩ የተከፈተ ቅጽበት ሙዚቃው የጉድጓድ ድምፅ ይሆናል። ምክንያቱን ፈልጌ አገኘሁት። የተለመደው ብሉቱዝ ለሙዚቃና ለጥሪ ሁለት የተለያዩ አሠራሮች አሉት። የሙዚቃው መንገድ ወደ አንድ አቅጣጫ ብቻ ነው የሚሄደው። ማይክ ሲፈለግ ወደ ጥሪው ይዞራል። እዚያ ደግሞ ድምፁ በሰከንድ 8,000 ወይም 16,000 ጊዜ ብቻ ነው የሚለካው። ሲዲ 44,100 ጊዜ ነው። ስለዚህ በተሻለው ልክ እንኳ ከ8,000 ኸርዝ በላይ ያለው ቀጭን ድምፅ በሙሉ ይቆረጣል። ስቴሪዮውም፣ የግራና የቀኙ ልዩነት፣ ይጠፋል። በ2020 ከብሉቱዝ 5.2 ጋር የመጣው ኤልኢ ኦዲዮ የተባለው አዲሱ አሠራር ይህን ሊፈታ ነው የተሠራው። ግን ስልኩም ወይም ኮምፒውተሩም ኤርፎኑም ሁለቱም ሊያውቁት ይገባል። የኔዎቹ አንዳቸውም አያውቁትም።

ባለገመዱ
ተባረኪ እህቴ።

ቻርጅ 5%
እሺ፣ ማይኩን ሰጠኋችሁ። መዘግየቱ ግን የድምፅ ጥራት ነው እንዴ? አስተባባሪ?

አስተባባሪ
መዘግየቱ አፋፍ ላይ ነው። ማይኩ ግን ይቆጠራል፤ ድምፁ ራሱ ተበላሽቷልና።

ቻርጅ 5%
እንግዲህ የኔ ተራ። ሁላችሁም ጸጥ ባለ ክፍል ውስጥ እንደተቀመጣችሁ አድርጋችሁ ነው የምታወሩት። እኔ ሙዚቃ የምሰማው አውቶቡስ ውስጥ ነው። የሞተሩ ጉርምርምታ ቤዙን ይውጠዋል። ያ 1,411 ኪሎቢታችሁ አብሮ ተዋጠ ማለት ነው። ኖይዝ ካንስሊንግ ያለው ኤርፎን የውጪውን ድምፅ በማይኩ ይሰማና ተቃራኒውን ሞገድ ያወጣበታል። ሁለቱ ተጋጭተው ይጠፋፋሉ። ይህ በደንብ የሚሠራው ደግሞ በዚያ በወፍራሙ፣ በማያባራው ጉርምርምታ ላይ ነው። ባለገመድ የያዘው ጓደኛዬ ምን ያደርጋል? ድምፁን ይጨምራል። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ ያስቀመጠው ልክ 80 ዴሲቤል በሳምንት ለ40 ሰዓት ነው። 3 ዴሲቤል በጨመራችሁ ቁጥር ሰዓቱ በግማሽ ይቀንሳል። ጆሮው ካለቀ በኋላ ገመዱ ምን ሊያደርስለት ነው?

ባለገመዱ
በደንብ የሚዘጋ ባለገመድም አለ እኮ። ዘፋኞች መድረክ ላይ ጆሯቸው ውስጥ የሚሰኩትን አላየህም? ከበሮው ከኋላቸው እየተደበደበ ነው የሚዘፍኑት።

ግን ልዋሽ አልችልም። የሞተር ጉርምርምታን በጎማ ብቻ ማቆም ይከብዳል። አውቶቡሱን ውሰደው፤ ያንተ ይሁን።

ሚክሰሩ
ጋሼ ከለዘቡ አይቀር አንድ ልጨምርባቸው። "ገመድ የሰጡትን ያደርሳል" ብለዋል። የሰጠው ማን ነው? ስልኩ ቀዳዳ ከሌለው የሚሰጠው ኤርፎኑን ከስልኩ ጋር የምታገናኘው ያች አጭር አስማሚ ናት። ብዙ ጊዜ ቁጥሩን ወደ ድምፅ የምትቀይረው ቺፕ የተቀመጠችው እዚያ ውስጥ ነው። አንዳንዷ ድንቅ ናት፣ አንዳንዷ ታንሾካሹካለች። ደግሞ ስፒከሮቻቸው ለየት ያሉ አንዳንድ ባለገመዶች አሉ። ለኤሌክትሪኩ ያላቸው ተቃውሞ በቤዙ ላይ አንድ፣ በቀጭኑ ድምፅ ላይ ሌላ ነው። እነሱን የማይስማማቸው ማጫወቻ ላይ ብትሰኳቸው የድምፅ ሚዛናቸው ይለወጣል። ዕቃው ያው ነው፣ ጠባዩ ሌላ። ገመድ አልባው ከዚህ ጣጣ ነፃ ነው፤ ቺፑም ማጉያውም ስፒከሩም አብረው ተለክተው ነው የሚወጡት። ገመዱ ሸሚዝ ላይ ሲታሽ የሚያሰማውን ኳኳታማ አላነሳሁትም።

ይልቅ ክርክሩን እንፈትነው። ሁለቱን ኤርፎኖች ዓይን ጨፍኖ ማወዳደር አይሠራም፤ ጆሯችሁ በክብደቱ ያውቀዋል። ስለዚህ ኤርፎኑን አትቀይሩ፣ መንገዱን ቀይሩ። አንድ ባለገመድ ያዙ። አንዴ በአስማሚው ይሰካ፣ አንዴ በትንሽ የብሉቱዝ መቀበያ። የሚቀያይረው ሌላ ሰው ይሁን፤ እናንተ አትዩ። የድምፁ ከፍታ በመለኪያ እኩል ይደረግ፤ ትንሽ ከፍ ያለው ሁሌም የተሻለ ይመስላል። 16 ጊዜ ይሁን። 8ቱን በግምትም ታገኙታላችሁ። 12 ያላገኘ "ለየሁ" እንዳይል።

ባለገመዱ
ነገ። የእህቴ ልጅ ትቀያይርልኛለች።

ዝም ብዬ አድማጭ
ጋሼ፣ ጎማውን አይርሱ።

ባለገመዱ
እሺ፣ ተደረገ። መቀበያው ኤልዳክ ነበር፣ 990 ላይ። ዘፈኑ ሃያ ዓመት የማውቀው፣ ሳክስፎን ያለበት። እስከ ስድስተኛው ድረስ እርግጠኛ ነበርኩ። "ይሄማ ገመዱ ነው፣ ሲምባሉ ይተነፍሳል" አልኩ። የእህቴ ልጅ ሳቋን ስትደብቅ ሰማኋት።

ከ16ቱ 9።

ቻርጅ 5%
ጋሼ፣ ይህን እዚህ መጻፍዎ ራሱ ትልቅ ነገር ነው። ሌላ ሰው ቢሆን 14 ይል ነበር።

ባለገመዱ
14 ልል አስቤ ነበር። ግን አንድ ነገር ልብ በል። የፈተንኩበት ኤርፎን አሥራ አንድ ዓመቱ ነው። ገመዱን ሁለት ጊዜ ቀይሬለታለሁ፣ ድምፁ እንደ መጀመሪያው ቀን ነው። ያንተ ባትሪዎች ከጥቂት ዓመት በኋላ ምን ይሆናሉ? መጀመሪያ ግራው ቀድሞ ይሞታል፣ ከዚያ ቀኙ። አብዛኞቹ ተጣብቀው የተዘጉ ስለሆኑ ባትሪ ቀይሬ ልቀጥል ብትል አይከፈቱም።

አስተባባሪ
ጋሼ፣ ዕድሜ ከጥያቄው ውጪ ነው። የድምፅ ጥራት ብቻ ተባብለናል።

ድምፁ ዘገየ
የሞተ ኤርፎን የድምፅ ጥራቱ ስንት ነው ታዲያ?

አስተባባሪ
እህቴ፣ እባክሽ።

ሚክሰሩ
ወደ ፈተናው ልመልሳችሁ። ሳክስፎን ለኮዴክ ቀላል ነው። ጭብጨባ ሞክሩ፤ መድረክ ላይ የተቀዳ፣ ብዙ ሕዝብ የሚያጨበጭብበት። ሺህ ትናንሽ ፍንዳታ ማለት ነው፤ ጨማቂውን የሚያስጨንቀው እሱ ነው። ኮዴኩንም ከኤልዳክ ወደ ኤስቢሲ አውርዱት። እዚያ ላይ 12 ቢያገኙ አይገርመኝም። ያኔ ቢያንስ ልዩነቱ የት ቦታ ላይ እንዳለ እናውቃለን።

ቻርጅ 5%
እኔም እሞክራለሁ። ግን ጭብጨባ የሚያዳምጥ ማን ነው?

ባለገመዱ
ቅዳሜ እደግመዋለሁ። የእህቴ ልጅ ግን ለዚህኛው ዙር ክፍያ ጠይቃለች። እየተደራደርን ነው።